«ክንፉ ተሰብሯል እንዴ?»

ቤቴ የመጣ ሰው ሁሉ ይህንን ይጠይቀኛል። ቡፌው ላይ፣ ከስኒዎቹ ጎን፣ አንድ ሰማያዊ አውሮፕላን ቆሟል። ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ 26 ሳንቲ ሜትር። ክንፉ ከሆዱ ሲወጣ ቁልቁል ይወርድና መሀል ላይ ታጥፎ ሽቅብ ይወጣል። ለማያውቀው ሰው ሕፃን ልጅ የተቀመጠበት መጫወቻ ነው የሚመስለው።

አልተሰበረም። ኮርሴር ይባላል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለአሜሪካ ባሕር ኃይል የተሠራ፣ መርከብ ላይ የሚነሳና የሚያርፍ ተዋጊ ነው። እኔ ቤት እንዴት እንደገባ ልንገራችሁ። ዓመቱንም ቀኑንም በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ መቀነሱን ለእናንተ ትቻለሁ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት እዚህ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ ሰፈራችን ያርድ ሴል ነበር። እኔ የወጣሁት ወንበር ፍለጋ ነው። አንዲት አሮጊት የሟች ባላቸውን ዕቃ ግቢያቸው ፊት ዘርግተዋል። ከመዶሻውና ከመጋዙ አጠገብ አንድ ካርቶን አየሁ። ባሕር፣ ደመና፣ ያ ክንፈ ጎባጣ አውሮፕላን ተሥሎበታል። «ጡረታ ስወጣ እሠራዋለሁ እያለ ነው ያስቀመጠው» አሉኝ። 5 ዶላር ሰጠሁና ለልጄ ገዛሁት። ወንበሩን ረሳሁት።

ልጄ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ካርቶኑን ከፍቶ አየና «ዳዲ፣ ተሰባብሮ ነው እኮ የመጣው» አለኝ። እውነቱን ነው። አውሮፕላን የለም። ያለው እየገጣጠሙ የሚሠሩት ግራጫ የፕላስቲክ ቁርጥራጭ ነው፣ ፍሬ ቅርንጫፍ ላይ እንደሚንጠለጠል ከዘንግ ጋር የተያያዘ። ልጁ ወደ አይፓዱ ተመለሰ። ካርቶኑ ፍሪጅ አናት ላይ ወጣና አራት ወር እዚያው ተቀመጠ።

እኔ ዲሲ ውስጥ ፓርኪንግ ነው የምሠራው። ከመሬት በታች፣ ከቀኑ 9 ሰዓት እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት። ፓርኪንግ የሠራ ያውቃል፤ ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ መኪናው ይወጣል፣ አንተ ከአምፖሉ ጋር ትቀራለህ። አገር ቤት ተግባረ ዕድ ድራፍቲንግ ተምሬ፣ ስድስት ዓመት የሕንፃ ፕላን ስሥል ነበር። እዚህ ያንን እርሳስ ይዤ አላውቅም።

አንድ ቀን ለሥራ ስወጣ የካርቶኑን መመሪያ ብቻ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ጋራዡ ጭር ሲል ዘረጋሁት። አሜሪካ ከገባሁ ጀምሮ የደረሰኝ ወረቀት ሁሉ አስተርጓሚ የሚያስፈልገው ነበር፤ የታክሱ፣ የኢንሹራንሱ፣ የልጁ ትምህርት ቤት። ይሄኛው ሥዕል ነው። ቁጥር፣ ቀስት፣ ክፍሉ ከጎን ሲታይ፣ ከላይ ሲታይ። ጃፓንኛ ተጽፎበታል፣ እንግሊዝኛም አለው፣ ሁለቱንም አልፈለግኩም። መስመሩን ሳይ እጄ እርሳስ ፈለገ። ከኪሴ እስክሪብቶ አውጥቼ ደረሰኝ ጀርባ ላይ የክንፉን መታጠፊያ ሣልኩት።

መጠኑ 1 ለ 48 ይላል። እኛ ቤት ስንሥል 1 ለ 50 ነበር፣ ስለዚህ ይህቺ ቁጥር አስቸገረችኝ። በኋላ ገባኝ። አሜሪካኖቹ በኢንችና በጫማ ነው የሚለኩት፤ አንድ ጫማ 12 ኢንች ነው፣ ሩብ ኢንችን አንድ ጫማ ካልከው 48 ይመጣል። ይህን ያሰብኩ ማታ አንድ መኪና መውጫው ላይ ሦስት ጊዜ ጥሩምባ ነፍቶብኛል።

ሥራው የተጀመረው ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ነው። መሣሪያዬ የጥፍር መቁረጫ፣ የሚስቴ ወረንጦ፣ ስቴኪኒና የብርጭቆ ወረቀት። ማጣበቂያውን ብቻ ገዛሁ፤ አረንጓዴ ክዳን ያለው ትንሽ ጠርሙስ። ማጣበቂያ ይባል እንጂ ሙጫ አይደለም። ፕላስቲኩን ያቀልጠውና ሁለቱን አንድ ያደርጋቸዋል። ሁለቱን ክፍሎች ገጥመህ ብሩሹን ስፌቱ ላይ ነካ ስታደርገው፣ ፈሳሹ ራሱ እየሮጠ ይገባል። ሚስቴ ማታ ማታ ነርሲንግ ሆም ነው የምትሠራው። ጠዋት ገብታ በሩ ላይ ቆመች፣ አሸተተች። «የጥፍር ቀለም ቤት ከፈትክ?»

ፈሳሹ መሮጡ ጥሩ ነው፣ ጣትህ ስፌቱ ላይ ከሌለ። የኔ ነበረ። ግራ ክንፉን ይዤ ስጠብቅ በአውራ ጣቴ ሥር ገባ። ጣቴን ሳነሳ አሻራዬ ፕላስቲኩ ላይ ታትሟል፣ መስመር በመስመር። ኢሚግሬሽን ቢሮ ሦስት ጊዜ አሻራ ሰጥቻለሁ፣ አንዱም እንደዚያ ጥርት ብሎ አልወጣም። በብርጭቆ ወረቀት አሸሁት። ዛሬም ብርሃን በጎን ሲመታው ትንሽ ይታያል።

አሁን ወደ ጎባጣው ክንፍ። ኮርሴር መጀመሪያ የበረረው በ1940 ነው። ቮውት የተባለው ኩባንያ፣ በሬክስ ባይዝል መሪነት፣ በጊዜው ትልቅ የተባለውን ሞተር ነው ያስገባበት፤ የፕራት ኤንድ ዊትኒ 18 ሲሊንደር፣ ወደ 2,000 የፈረስ ጉልበት። ያንን ጉልበት አየሩ ላይ የሚያሳርፍ ፕሮፔለር ደግሞ ዳር እስከ ዳር ከ4 ሜትር በላይ ሆነ። እንግዲህ ችግሩን አስቡት። ፕሮፔለሩ መሬት እንዳይነካ አውሮፕላኑ ከፍ ማለት አለበት። ከፍ እንዲል ጎማውን የሚሸከመው እግሩ ይርዘም ቢባል፣ ረጅም እግር መርከብ ላይ ዘጭ ሲል ይሰበራል። ስለዚህ እግሩን አሳጥረው ክንፉን ወደ ታች አጎነበሱት፤ እግሩን ከጎንበሱ ላይ ተከሉት። በቃ። ለውበት አይደለም። በሠራሁበት ቢሮ አለቃችን «ይሄ መስመር እዚህ ምን ይሠራል?» ብለው ይጠይቁን ነበር፤ መልስ ከሌለህ ላጲስ ያቀብሉሃል። ይህንን ክንፍ ቢያዩት ላጲሱን ኪሳቸው ውስጥ ይመልሱት ነበር።

ሌሎችም ነገሮች አሉ። የፓይለቱን ክፍል ስሠራ ወለል የሚባለው ቁራጭ ጠፋብኝና ምንጣፉን በእጄ ዳሰስኩ። ለካ ወለል የለውም! በመጀመሪያዎቹ ኮርሴሮች ፓይለቱ እግሩን የሚያኖርበት ሁለት ጠባብ መርገጫ ብቻ ነው ያለው። እርሳስ ከወደቀበት ሆዱ ውስጥ ገባ ማለት ነው። የክንፎቹ ውጨኛ ክፍል ደግሞ የኋላው ግማሽ በጨርቅ ነው የተሸፈነው፤ በዚያ ሁሉ ሞተር። አፍንጫው ላይ፣ ከመስታወቱ ፊት፣ መመሪያው ነጫጭ መስመር ቀባ ይላል። ጌጥ መስሎኝ ነበር። ፕላስተር ነው። እዚያ ሥር ወደ 900 ሊትር የሚጠጋ ነዳጅ አለ። በስፌቱ በኩል እየተንጠባጠበ የፓይለቱን መስታወት ሲያጨማልቅበት፣ በፕላስተር ለጠፉት። ጦርነትም ላይ ፕላስተር አለ ብዬ ብቻዬን ሳቅኩ።

ያ ነዳጅ የመጣውም በጣጣ ነው። ክንፉ ውስጥ ስድስት መትረየስ ሲገባ ነዳጁ ቦታ አጣ፣ ወደ ሆዱ ተዛወረ፣ ፓይለቱ 80 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ተገፋ። ከፊቱ አፍንጫ ብቻ ሆነ የሚታየው። መርከብ ላይ ሲያርፍ ማረፊያውን ይሸፍንበታል፣ ጎማውም ይነጥራል። ባሕር ኃይሉ ፈራውና መጀመሪያ ማሪን ለሚባሉት የባሕር ወታደሮች ሰጣቸው፤ በየካቲት 1943 ጓዳልካናል ደሴት ላይ ከየብስ እየተነሱ ተዋጉበት። እንግሊዞቹ ዘዴ ነበራቸው። ቀጥ ብለው ከመምጣት እየዞሩ፣ መርከቡን በጎን እያዩ፣ መጨረሻ ላይ ብቻ ቀና ማለት። ፓርኪንግ ውስጥ ትልቅ ቫን በጠባብ መታጠፊያ ያወረደ ሰው ይህ አይገርመውም።

የአውሮፕላኑን ሞተር ሥራ ቦታዬ፣ ቲኬት ወደምቀበልበት ቡዝ ይዤ ሄድኩ። ማጣበቂያ አልከፍትም፣ ቀለም ብቻ። ሁለት ረድፍ፣ ዘጠኝ ዘጠኝ ሲሊንደር፣ አንድ ላይ ስፋታቸው 3 ሳንቲ ሜትር አይሞላም። ጥቁር ትቀባና፣ ሊደርቅ በቀረበ ብሩሽ ብርማ ቀለም ጫፍ ጫፉን ትነካካለህ። ሱፐርቫይዘሬ በካሜራ አይቶ ደወለልኝ። «እዚያ ምንድነው የምትቆርጠው?» ሞተር አልኩት። ዝም አለ፤ ከዚያ «በእረፍት ሰዓትህ» አለኝ።

ሁልጊዜ ረቡዕ ማታ መኪና የሚያቆሙ አንድ ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌ አሉ። ቲኬታቸውን ሊከፍሉ መስኮቱ ጋ ቀረቡና ሞተሩን አዩት፣ ከጎኑ መመሪያውን። «ኮርሴር ነው?» አዎ አልኳቸው። «ጄሲ ብራውንን ታውቀዋለህ?» አላውቅም። ቲኬቱን ተቀብለውኝ «ፈልገህ አንብብ» ብለው ሄዱ።

ያን ማታ ሥራ እስክጨርስ ስልኬ ላይ ሳነብ ቆየሁ። ጄሲ ብራውን የሚሲሲፒ ልጅ ነው። የባሕር ኃይሉን የበረራ ትምህርት ጨርሶ የመጀመሪያው ጥቁር ፓይለት የሆነው በ1948 ነው። ታኅሣሥ 4 ቀን 1950 ኮሪያ ውስጥ፣ ቾሲን የተባለው ሐይቅ አጠገብ፣ ኮርሴሩ ተመታና በረዶ የለበሰ ተራራ ላይ ወደቀ። አልሞተም። እግሩ ግን ብረቱ ሥር ተይዟል፣ ሞተሩ ይጨሳል። አብሮት ሲበር የነበረው ነጭ ፓይለት ቶማስ ሀድነር ከላይ እያየው ነው። ምን አደረገ? የራሱን ደህና ኮርሴር ጎማ ሳያወርድ ሆን ብሎ እዚያው ተራራ ላይ በሆዱ አሳረፈው። ሮጦ ሄዶ በእጁ በረዶ እየዛቀ ሞተሩ ላይ ጫነ። ሄሊኮፕተር መጣ፣ በመጥረቢያ ሞከሩ፣ ብረቱ እምቢ አለ። መሸ። ብራውን እዚያው አረፈ። ዕድሜው 24 ነበር። ሀድነር በሚቀጥለው ዓመት የአገሪቱን ትልቁን ሜዳሊያ ሲሸለም የብራውን ባለቤት ቆማ ታይ ነበር።

ልጅ ሆኜ ኮሪያ ሰፈር አክስቴ ቤት ክረምት እናሳልፍ ነበር። የቃኘው ሽማግሌዎች ሜዳሊያቸውን ደርድረው ለበዓል ሲወጡ እንከተላቸዋለን። እነሱ ኮሪያ የገቡት በግንቦት 1951፣ ብራውን ከሞተ ከአምስት ወር በኋላ ነው። እነዚያን አባቶች ያኔ ስለ ብርዱ ብቻ ነበር የምንጠይቃቸው። ተራራውን ማን ጠየቀ።

በሚቀጥለው ረቡዕ ለሽማግሌው አንብቤያለሁ አልኳቸው። ፕሮፔለሩን አሳየኋቸው። ምላሱን ቆጠሩና «የሱ አራት ምላስ ነበረው» አሉኝ። ትክክል ናቸው። ብራውን ያበረረው በኋላ የመጣውን ዓይነት ነው፤ የኔ ቀደም ያለው፣ ባለሦስት። ስለዚህ የሱ ነው ብዬ ለማንም አላወራም።

ጨርሼዋለሁ ስል ነው መስታወቱን ያበላሸሁት። ያቺን አረንጓዴ ክዳን ትቼ፣ ቶሎ ይድረቅልኝ ብዬ፣ በሱፐር ግሉ ለጠፍኩት። ጠዋት ስነሳ መስታወቱ በጉም ተሸፍኗል። የሱፐር ግሉ ትነት የሚያነጣው ነገር መሆኑን ያኔ ነው የተማርኩት። በጥርስ ሳሙናና በለስላሳ ጨርቅ አንድ ሰዓት አሸሁት። አብዛኛው ለቀቀ፣ ጥግ ላይ ትንሽ ቀረ። መስታወቱን ወደ ኋላ ገፍቼ ክፍት አድርጌ አስቀመጥኩት። ያየ ሰው ፓይለቱ ሙቀት በዝቶበት ይመስለዋል።

ቀለሙ ሦስት ነው። ከላይ ጠቆር ያለ ሰማያዊ፣ ጎኑ ፈዘዝ ያለ፣ ሆዱ ነጭ። ከላይ ሲያዩት ባሕር፣ ከታች ሲያዩት ደመና እንዲመስል። የቀረችኝ ከአንቴናው እስከ ጭራው የምትዘረጋው ሽቦ ነበረች። ክር ሞከርኩ፣ ወፈረ። ሚስቴ መስታወት ፊት ሂዩማን ሄሯን ስታበጥር አየሁና አንድ ዘለላ ለመንኳት። «ስንት ብር የወጣበትን ፀጉር ለአውሮፕላን?» አለች። ግን ሰጠችኝ።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስታችንም ሻንቲሊ ሄድን፣ ደለስ ኤርፖርት አጠገብ ያለው የስሚዝሶንያን የአውሮፕላን ሙዚየም። በኢትዮጵያ አየር መንገድ የሚመጣ ሰው ልንቀበል ስንት ጊዜ በዚያ መንገድ አልፈናል፣ ገብተን አናውቅም። መግቢያው ነፃ ነው፣ ፓርኪንጉ ይከፈላል። ስከፍል ሚስቴ ሳቀችብኝ። እንደገባን ጣሪያው ላይ ተንጠልጥሏል። እውነተኛው። ከ12 ሜትር በላይ ክንፍ። ልጄ ብዙ አየው፣ ከዚያ የግራ ክንፉን አሳየኝ። «ዳዲ፣ ያንተ አሻራ ግን የለውም።»

ባለፈው ሳምንት የሚስቴ የሥራ ጓደኛ ቡና ልትጠጣ መጣች። ስኒ ሲነሳ አየችውና ያንኑ ጥያቄ ጠየቀች። እኔ አፌን ስከፍት ሚስቴ ቀደመችኝ።

«አልተሰበረም። ፕሮፔለሩ ትልቅ ስለሆነ ነው፣ መሬት እንዳይነካ ክንፉን አጎነበሱት።» ጀበናውን አጎንብሳ እየቀዳች ነው የምታወራው። «አንቴናው ደግሞ የኔ ፀጉር ነው። እንዳትነኪው።»