ወገብ ሲያዝ በጉልበት አትታሹ

ጤፍ ሲያጭድ የከረመ ሰው ወገቡን ይዞ ነው ቀና የሚለው፣ ጎጃም ያደገ ያውቀዋል። እኛ ፍኖተ ሰላም አካባቢ ወጌሻ ጋር ነው የሚኬደው፣ እናቴን ይዣት ሄድኩ። ሰውየው ቅቤውን መዳፉ ላይ አሟሙቶ አውራ ጣቱን ከወገቧ በላይ አሳረፈና ዝም ብሎ ጠበቀ፣ እሷ ትንፋሿን ስትለቅ ያኔ ቀስ እያለ ወደ ላይ ገፋው። በጣም ደስ አለኝ፣ ምክንያቱም ትክክለኛው እንደዛ ነው!

ከቆዳ ስር ጡንቻውን የሚጠቀልል ፋሺያ የሚባል ሽፋን አለ፣ በግ ሲበለት ስጋው ላይ የምታዩት ነጩ ስስ ነገር ማለት ነው፣ ኮላጅን የሚባል ጠንካራ ፕሮቲን የበዛበት፣ በንብርብሮቹ መሀል ደግሞ ሃያሉሮናን የሚባል የሚያንሸራትት ነገር አለው። ነርቭም ሞልቶበታል፣ ለዛ ነው የሚያመው። አይዳ ሮልፍ የምትባል አሜሪካዊት በ20ኛው ክፍለ ዘመን ፋሺያን በእጅ ማሸትን ራሱን የቻለ ሙያ አድርጋዋለች። ግን የወገቡ ፋሺያ ጠንካራ ስለሆነ በጣት ጉልበት እንዲህ በቀላሉ አይለጠጥም፣ እኔ እንደሚመስለኝ እፎይታው በአብዛኛው ነርቩ ሲረጋ የሚመጣ ነው፣ ስለዚህ ቀስ ይባል፣ ከታሹ በኋላም ተኝቶ ከመዋል ወዲያ ወዲህ ማለት ይሻላል።

እግር ከደነዘዘ ወይ ሽንት መቆጣጠር ካቃተ ግን እሽት የለም፣ ቀጥታ ሆስፒታል ሂዱ።