ቁጥር 11

ትናንት ማታ ከበደኝ። ምክንያቱን አትጠይቁኝ፣ የለውም። ነሐሴ ነው፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ መብራት ሁለቴ ሄዶ ሁለቴ መጣ፤ እማዬ ቀኑን ሙሉ ቅዳሴ ቆማ ስለዋለች በጊዜ ተኝታለች። እኔ የወሩን ሪፖርት ልጨርስ ብዬ መሥሪያ ቤት የሰጠኝን አዲስ ላፕቶፕ ከፍቼ ተቀምጫለሁ። አዲስ ስል የምሬን ነው፤ የክዳኑን ላስቲክ እንኳ ገና አልላጥኩትም። ሦስት መስመር ጻፍኩና እጄ ወደ መሳቢያው ሄደ።

መሳቢያው ውስጥ ምን እንዳለ የምታውቁኝ ታውቃላችሁ። ክዳኗ የጠፋ፣ ወገቧ በፕላስተር የተጠቀለለ ሰማያዊ ፍላሽ። የእማዬ የጽሕፈት ሱቅ ሲዘጋ፣ ኮምፒውተሮቹ ከመሸጣቸው በፊት ያገኘሁትን ሁሉ የገለበጥኩባት ናት። አብዛኛው የሰው ማመልከቻ ነው። "ጉዳዩ፦ የደመወዝ ጭማሪን ይመለከታል።" "ጉዳዩ፦ የጠፋ ካርታ እንዲተካልኝ ስለመጠየቅ።" እማዬ እየጻፈች የሸኘቻቸው ሰዎች ጉዳይ ሁሉ እኔ መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል። ከማመልከቻዎቹ መሃል አንዱ ፎልደር ግን "ኤጅ" ይላል።

ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2 የሚባለው የጦርነት ጌም እ.ኤ.አ. በ1999 ወጣ፤ ዘ ኮንከረርስ የተባለው ማስፋፊያው በ2000 ተከተለ። እኛ ቤት የደረሰው ግን ከስንት ዓመት በኋላ፣ ተገልብጦ በተገለበጠ፣ በማርከር በተጻፈበት ሲዲ ነው። እማዬ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሥራዋን በሁለት ኮምፒውተር ነበር የምትሠራው። ማታ ሱቁ ሲዘጋ (አንዳንዴም ሳይዘጋ) እኔና ወንድሜ ባቢ ሁለቱን በአንዲት ክሮስ ኬብል አገናኝተን እንዋጋለን። እሱ 16፣ እኔ 12። እሱ ሁልጊዜ ፋርስ ነው፣ ለዝሆኑ ሲል። እኔ እንጨት የማስፈልጥ፣ እርሻ የማሳርስ፣ በመጨረሻ የምወረር።

ትንሽ ልጫወት፣ አምስት ደቂቃ ብቻ፣ አልኩ ለራሴ።

ፎልደሩን ገልብጬ ሁለቴ ነካሁት። አዲሱ ዊንዶውስ ትንሽ አሰበና ይህ ነገር ዳይሬክትፕሌይ ይፈልጋል፣ ልጫንልሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ዳይሬክትፕሌይ ምን መሰላችሁ? ያኔ ጌሞች ከሌላ ኮምፒውተር ጋር በኔትወርክ እንዲገናኙ የሚያደርጋቸው ነገር ነው። ዘመኑ ስላለፈበት አዲሶቹ ዊንዶውሶች እስኪጠየቅ ድረስ ዘግተው ያስቀምጡታል። እኔ ደግሞ ብቻዬን ልጫወት ነው። ጌሙ ግን ከሰው ጋር የሚያገናኘው ካልተጫነለት ለብቸኛ ሰውም አልከፍት ይላል። በሌሊት እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም።

ተጫነ፣ ተከፈተ። ፈረሶቹ ግን ወፍረዋል። ጌሙ የተሠራው ያኔ ለነበሩት ካሬ መሰል ስክሪኖች ነው፤ 1024 በ768 የሆነውን ሥዕል ወደ ጎን ሲለጥጡት ሁሉም ሰው ጠላ ጠጥቶ ያደረ ይመስላል። ለዚህ መድኃኒቱ ዩዘርፓች ነው፤ ኩባንያው ሳይሆን ጌሙን የሚወዱ ሰዎች የሠሩት። 1.0ሲ በሚባለው የዘ ኮንከረርስ እትም ላይ ይጫንና ሰፊውን ስክሪን ያስለምደዋል፣ ቀለሙንም ያስተካክላል። ጫንኩት። አሁን ደግሞ ሥዕሉ ስለማይለጠጥ ሰዎቹ ጉንዳን አከሉ። መነጽሬን አደረግኩ። በ12 ዓመቴ ያለ መነጽር ያየሁት ገበሬ እኮ ነው።

የቀለሙን ነገር ካነሳሁ አይቀር፣ ዶርም ውስጥ የሆነውን የምታስታውሱ አላችሁ። 2004 ዓ.ም.፣ የክፍላችን ብቸኛ ላፕቶፕ፣ ዊንዶውስ 7። ጌሙን ስከፍተው ሳሩ ሐምራዊ፣ ውሃው ቀይ ሆኖ ቁጭ አለ። ጌሙ የሚሳለው በ256 ቀለም ብቻ ነው፤ የራሱ የቀለም ሠንጠረዥ አለው። ዊንዶውስ ደግሞ ከኋላ ሆኖ ያንን ሠንጠረዥ በራሱ ቀለም ይደልዘዋል። መፍትሔው ታስክ ማናጀር ገብቶ ኤክስፕሎረርን መግደል ነበር። ሲገደል ከታች ያለው ባር፣ አይከኖቹ፣ ሁሉ ነገር ድራሹ ይጠፋል። ከዚያ ጌሙን መክፈት ነው፤ ሳሩ አረንጓዴ ይሆናል። የላፕቶፑ ባለቤት ከሻወር ስትመለስ ባዶ ስክሪን አይታ ያለቀሰችውን ለቅሶ አልረሳውም። "ገድዬው ነው፣ መልሼ አስነሳዋለሁ" ስላት ደግሞ ባሰባት።

ብቻ ትናንት ማታ፣ ሰባት ሰዓት ግድም፣ ሁሉም ነገር ሠራ። ዋናው ገጽ መጣ፣ ሙዚቃው መጣ። ፋርስን መረጥኩ። እና ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ ታውንቶቹስ?

ጌሙ ውስጥ ቻት ላይ ቁጥር ጽፋችሁ ኢንተር ስትሉ የሚሰማ ድምፅ አለ፤ ታውንት እሱ ነው። 42 ናቸው። 1 እሺ ነው፣ 2 እምቢ፣ 3 ምግብ ስጡኝ፣ 11 ሳቅ፣ 14 ኧረ ጀምሩት። ሁሉም ተራ ኤምፒ3 ፋይሎች ናቸው፤ አንድ ፎልደር ውስጥ፣ ቁጥራቸው ከፊት ተጽፎ ተደርድረዋል። ማለትም ቁጥሩን ሳትነኩ የራሳችሁን ድምፅ በቦታው ብትተኩ ጌሙ አያውቅም። ከዚህ የቀለለ ሞድ (ጌምን በራስ እጅ መለወጥ ማለት ነው) በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም። ባቢ ያወቀ ዕለት ሱቁን ስቱዲዮ አደረገው። በዊንዶውስ መቅጃ እንቀዳለን (60 ሴኮንድ ሲሞላ ራሱ ይቆማል፣ ለእኛ ይበቃል)፣ ወደ ኤምፒ3 እንቀይራለን፣ ሁለቱም ኮምፒውተር ላይ እንገለብጣለን። ድምፁ የሚሰማው ከየራሱ ማሽን ስለሆነ አንዱ ላይ ብቻ ከተቀየረ እሱ በአማርኛ ሲሳደብ እኔ በእንግሊዝኛ እሰማዋለሁ።

ፎልደሩን ከፈትኩ። አሉ። 31ዱ የእኛ ናቸው፣ የቀሩት እንደተወለዱ ናቸው። ጌሙን ዘጋሁትና ማዳመጥ ጀመርኩ።

3 እኔ ነኝ። "ስለ እመቤቴ፣ ስለ ማርያም፣ ቁራሽ እህል" እላለሁ፣ በቀጭን ድምፅ፣ እየተሳቀቅኩ። 20 ባቢ ነው፤ እንግሊዝኛው አያቴ ትበልጥሃለች የሚል ስለሆነ የአያታችንን ስም ጠርቶ ተርጉሞታል። 27፣ ሁለት ሰዓት ተጫውተህ እንዲህ ልትሞት ነው የሚለው፣ በዚያ ጎርነን ልበል በሚል፣ ገና ባልጨረሰ ድምፁ። አሁን በስልክ የማውቀው ድምፅ ከዚህ ጋር ዝምድና የለውም። በስልክ የማውቀው "ሰላም ነሽ? እማዬስ? እግሯ ተሻላት? በይ ሥራ ላይ ነኝ" የሚለው ነው።

30 ላይ ስደርስ ሳቄን ለመዋጥ ትራስ ነከስኩ። 30 ዎሎሎ ነው፤ የሌላውን ወታደር በጸሎት ወደ ራሱ የሚያስኮበልል መነኩሴ አለ፣ የእሱ ጩኸት። የኔ ብቸኛ ስልት እሱ ነበር። የባቢ ዝሆን 200 ምግብና 75 ወርቅ ይፈጃል፣ እኔ በ100 ወርቅ መነኩሴ አወጣለሁ። ዝሆኑ ቀርፋፋ ስለሆነ እስኪደርስብኝ ድረስ መነኩሴዬ ጸልዮ ይጨርሳል። ዝሆኑ መሃል መንገድ ላይ ቀለሙ ይቀየርና ዞሮ ወደ ባለቤቱ ይሄዳል። "አንቺ ሌባ!" ብሎ ወንበሩን ገፍቶ የሚነሳበት ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ለዚህ ቁጥር ባቢ መሪጌታ ሆኖ በዜማ ቀዳው። ፋይሉ ውስጥ ዜማው ገና ሁለተኛ ስንኝ ሳይገባ "አንተ!" ትላለች እማዬ፣ ከዚያ ጧ የሚል ነገር፣ ከዚያ ያልቃል። ደግመን አልቀዳነውም። ስንትና ስንት ዝሆን በዚያች "አንተ!" ተለውጧል።

እዚህ ላይ ሰው የሚጠይቀኝን አውቃለሁ። አዎ፣ አሁን ጌሙ ራሱ አማርኛ ይናገራል። እኛ ስንጫወት 18 ሕዝቦች ነበሩ፣ ከኢትዮጵያ ማንም አልነበረም፤ ባቢ ፋርስን መርጦ "አክሱም ነኝ" ይል የነበረው ለዚያ ነው። በኋላ በትርፍ ሰዓታቸው ሞድ ይሠሩ የነበሩ ልጆች ፎርጎትን ኢምፓየርስ የሚባለውን አወጡ። እሱ እ.ኤ.አ. በ2013 ይፋዊ ማስፋፊያ ሆነላቸው። በ2015 ደግሞ እነሱው በሠሩት ዘ አፍሪካን ኪንግደምስ ላይ ኢትዮጵያ ከማሊ፣ ከበርበርና ከፖርቱጋል ጋር ገባች፤ ሾተል የያዘ ወታደር፣ ቶሎ ቶሎ የሚወረውር ቀስተኛ፣ የዮዲትም ዘመቻ ሳይቀር። ባቢ ነው ካለበት ውጭ አገር ገዝቶ የላከልኝ። መጀመሪያ የሰማሁት ቀን እንደ እብድ አንዱን ገበሬ ደጋግሜ ስነካው ዋልኩ። ኮራሁ፣ አልዋሽም። ግን አማርኛቸው ንጹሕ ነው፤ ከኋላው ማንም አይጮህም፣ ማንንም እናቱ በነገር አትመታውም።

እና ከዚያ 11።

መጀመሪያ የፎቶ ኮፒ ማሽኑ ይሰማል፤ ሽው፣ ቀጭ፣ ሽው። ከዚያ ባቢ ዝቅ ባለ ድምፅ "በይ ሳቂ" ይለኛል። እኔ "እንዴት ዝም ብዬ እስቃለሁ?" እላለሁ። ዝምታ። ከዚያ ሰው ይስቃል። እኔ አይደለሁም፣ ባቢም አይደለም። ትልቅ ሰው ነው፤ ከሆዱ የሚወጣ፣ መጨረሻው ሳል የሆነ ሳቅ። እሱን ተከትለን እኛ እንፈነዳለን። ልክ ሊያልቅ ሲል ሰውዬው "ሁለት ሁለት ነው ያልኩሽ፣ እትዬ" ይላል።

ማን ነው?

ባንኮኒው ላይ ቆሞ መታወቂያውን ይሁን ካርታውን የሚያስገለብጥ ሰው መሆን አለበት። ሁለት ሕፃናት ኮምፒውተር ፊት ተቀምጠው ሳቅ አልመጣ ሲላቸው አይቶ ሳቀ፤ ኮፒውን ይዞ ሄደ። እኛ ደግሞ ፋይሉን ሳንቆርጥ ጫንነው። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ግንቤ በፈረሰ ቁጥር፣ ገበሬዬ በተኩላ በተበላ ቁጥር፣ ያ ሰውዬ ስቆብኛል። ስንት መቶ ጊዜ እንደሰማሁት አላውቅም፤ ማነው ብዬ ግን ጠይቄ አላውቅም። 11 ነበር በቃ። ሌሊቱን እየደጋገምኩ ከፈትኩት። ከማመልከቻዎቹ ውስጥም ፈለግኩት፣ በሳቁ ሰው የሚገኝ ይመስል። ጡረታ የሚጠይቀው ይሆን? ካርታ የጠፋበት? ካርታ የጠፋበት ሰው እንዲህ ይስቃል?

ዛሬ ጠዋት እማዬ ለቅዳሴ ስትዘጋጅ ነጠላዋን ይዤ አስቀመጥኳትና አሰማኋት። ዓይኗን ጨፍና ሰማች። ድገሚው አለች። ደገምኩ።

"ይቺማ ሮለሯ የተበላ ጊዜ ናት" አለች።

"ማን?"

"ማሽኗ ነቻ። ቀጭ ቀጭ ስትል አትሰሚም? ያኔ ነው ያሠራናት።"

"እማ፣ ሰውዬውን ነው የምልሽ።"

"እኔ የሰው ሁሉ ሳቅ በየት አውቄ!" ብላ ነጠላዋን ተቀበለችኝ። በሩ ጋ ደርሳ ዞር አለች። "ሁለት ሁለት ብሎ አንድ አንድ ነው የሰጠሁት? ምን አለ ቆይ?" እንደገና አሰማኋት። ሳታረጋግጥ ሄደች፣ እንደከነከናት።

ለባቢ ፋይሉን በቴሌግራም ላክሁለት። ምንም አልጻፍኩበትም፤ ምን ልጽፍ ነው? እዚያ ሌሊት ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ መልሱ መጣ፦ "11"።

ይኸው ነው። ሳቀ ማለት ነው? ወይስ "11 ነው አይደል?" እያለኝ ነው? የጥያቄ ምልክት የለውም፤ እሱ ድሮም አያደርግም። ሰውዬውን አስታውሶት ይሆን? "የትኛው ሰውዬ?" ቢለኝስ? ለመጠየቅ ጻፍኩና አጠፋሁት፣ ጻፍኩና አጠፋሁት። በመጨረሻ 30ን ላክሁለት። እስካሁን አልከፈተውም።

ጌሙን አልተጫወትኩትም። ሪፖርቱ አሁንም ሦስት መስመር ነው። የቢሯችን የኮምፒውተር ባለሙያ ደግሞ ነገ ላፕቶፖቹን ሊያይ ይመጣል ተብሏል፤ ዳይሬክትፕሌይን ለምን እንዳስጫንኩ ምን ብዬ እንደምነግረው እያሰብኩ ነው።