እናቴን «አርፈሽ ተቀመጪ» አልላትም

እናቴ 79 ዓመቷ ነው። ቡና የምታፈላው ራሷ ናት። ከሰል የምታያይዘው፣ ቡናውን የምትቆላው፣ «ኑ ቡና ጠጡ» ብላ ግቢውን የምትጠራው እሷ ናት። ዲሲ ያለው ወንድሜ በደወለ ቁጥር «ሠራተኛ ቅጠሪላት፤ ምንም አትንካ፣ ትረፍ። ብሩን እኔ እልካለሁ» ይለኛል። ከፍቅር ነው የሚለው። ናፍቆትም አለበት። እኔ ግን በዚህ ነገር አልስማማም። በስልክ ተናግሬ የማልጨርሰውን እዚህ ልጻፈው። ቤቱ አዛውንት ያለው ሰው ሁሉ ቢያነበው ደስ ይለኛል።

ትልቅ ሰው ሥራ ሲያቆም ቶሎ ይደክማል። በዕድሜ ጡንቻ መሳሳቱ አይቀርም፤ መቀመጥ ደግሞ ያፋጥነዋል። ጭን ሲደክም ከወንበር መነሣት ያስቸግራል። ያኔ መውደቅ ያስፈራል። የፈራ ሰው አይንቀሳቀስም፣ ያልተንቀሳቀሰ ደግሞ የባሰ ይደክማል። መውደቅም ቀላል ነገር አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ በየዓመቱ 684 ሺህ ያህል ሰው ወድቆ ይሞታል፤ ከሁሉ የሚበዙት ከ60 ዓመት በላይ የሆኑት ናቸው። ስለዚህ ወንድሜ መፍራቱ ልክ ነው። እኔ የምለው እናቴ ሥራዋን ትሥራ፣ ቤቱ ይስተካከልላት ነው።

ቤታችን ከአራት ኪሎ ወደ ቀበና ሲወረድ ነው። በ1967ቱ አዋጅ ከተወረሱት አንዱ፣ የቀበሌ ቤት። ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፤ ሽንት ቤቱ ግቢ ውስጥ፣ የጋራ። መሐል ከተማ የሚኖሩ ብዙ አዛውንቶች ቤታቸው እንዲህ ነው። ኢንተርኔት ላይ የሚገኘው ምክር ግን መታጠቢያ ቤቱ ከመኝታው አጠገብ ለሆነለት ሰው የተጻፈ ነው። እኛ ጋ ማታ ሽንት ሲመጣ በር ተከፍቶ፣ ደፍ ታልፎ፣ ደረጃ ተወርዶ፣ ግቢው በጨለማ ተቋርጦ ነው የሚኬደው።

ጎረቤታችን የነበሩ አንድ እናት የወደቁት እዚያው መንገድ ላይ ነው። ክረምት ነበር፣ ድንጋዩ ረጥቧል። ልጆቻቸው መጀመሪያ ወጌሻ ጠሩ። ወጌሻው አሸት አሸት አድርጎ «ወለምታ ነው» አላቸው። በኋላ ሆስፒታል ራጅ ሲነሡ ዳሌያቸው ተሰብሯል። እባካችሁ፣ ትልቅ ሰው ወድቆ መርገጥ ካቃተው፣ ወይም አንዱ እግሩ አጥሮ ወደ ውጭ ከዞረ፣ በቀጥታ ሆስፒታል ውሰዱት። ወጌሻን አልንቅም፤ ዳሌ ግን የወጌሻ አይደለም። በቶሎ ካልታከመ አልጋ ላይ ያስቀራል። አልጋ ላይ መቅረት ደግሞ የሳንባ ምችና የደም መርጋት ያመጣል።

እናቴ ፖፖ አትወድም። «እኔ ሕፃን ነኝ?» ትላለች። ነውር ይሆንባታል። ስለዚህ ሰፈራችን ያለ አናጢ መደገፊያ ያለው ወንበር ሠራልን። መቀመጫው እንደ ክዳን ይነሣል፤ ከሥሩ የሚከደን ባልዲ ይገባል። ቀን ላይ ጨርቅ ስለሚለብስ የገባ እንግዳ ሁሉ ተራ ወንበር ነው የሚመስለው። ባልዲውን የምደፋው እኔ ነኝ፣ ግቢው ሳይነቃ። ይህን እንድጽፍ ፈቅዳልኛለች። «ለሌላ ሰው ከጠቀመ ጻፊው» ነው ያለችኝ።

በሩ ላይ ላለው ደረጃ ደግሞ መያዣ አስፈለገ። ጭቃ ግድግዳ ላይ መያዣ ማሰር የዋዛ ሥራ አይደለም። ሚስማር ቢመቱበት ልስኑ ይረግፋል፤ ፊሸር ቢከቱበት አብሮ ይወጣል። ሰው ሙሉ ክብደቱን የሚጥልበት ነገር ስለሆነ ደግሞ፣ የላላ ከሚሆን ጭራሽ ባይኖር ይሻላል። የጠራነው በያጅ ግድግዳውን በጣቱ ቋ ቋ እያደረገ ዳሰሰው፤ ቋሚው እንጨት ያለበትን በድምፁ ለየ። እዚያ ላይ ከወዲህ እስከ ወዲያ በሳው። በዚህ በኩል መያዣ የሚሆነውን ቱቦላሬ ብረት፣ በወዲያ በኩል ቁራጭ ላሜራ አድርጎ በረጅም ቡሎን አሰራቸው። ከዚያ ራሱ ተንጠለጠለበት። እናቴ ቆማ ስታየው ቆየችና «አሁን አመንኩት» አለች። ብረቱ ጠዋት ጠዋት እጅ የሚያደነዝዝ ቅዝቃዜ አለው፤ ከአሮጌ ጋቢ ቀድዳ፣ እንዳይንሸራተት አጥብቃ ሰፍታ አለበሰችው። ይሄ ለእኔም ለበያጁም ያልታየን ነገር ነው።

ወለሉን በአጭሩ ልለፈው። ጠርዙ የተጠቀለለ ላስቲክ ምንጣፍ ይቆረጥ። የማከፋፈያ ሽቦ ከመተላለፊያ ይነሣ። ነጠላ ጫማ ለትልቅ ሰው ጠላት ነው፤ ተረከዝ የሚይዝ፣ ሶሉ የማያንሸራትት ጫማ ግዙ። ውኃ በፈረቃ ስለሆነ ቤታችን ጀሪካን አይጠፋም፤ ባለ 20 ሊትሩን እኔ እቀዳለሁ፣ ባለ 5 ሊትሩን እሷ ታነሣለች። እርጥብ ቄጠማም ያንሸራትታል። እናቴ ግን ለበዓል ቤቱ ካልተጎዘጎዘ በዓል በዓል አይሸታትም። ከበሩ እስከ አልጋዋ ያለውን መሄጃ እንተወዋለን፣ የቀረውን እንሞላዋለን።

ከሰል ላይ ግን ልቆይ፤ ሰው የሚገድል ነገር ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ አዲስ አበባ እንዴት እንደምትበርድ ታውቃላችሁ። ሰው ማንደጃውን ጭሱ እስኪያልፍለት ደጅ ያቆየዋል፣ ፍም ሲሆን ያስገባዋል፣ በሩን ይዘጋል። ጭስ ከሌለ አደጋ የሌለ ይመስላል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ሽታም ቀለምም የለውም፤ ፍሙ ቀልቶ ባማረበት ሰዓትም ይወጣል። ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፤ ከዚያ እንቅልፍ የሚመስል ድካም ይመጣል። እኛ ሰፈር ደግሞ ራሱን አመመው ሲባል «ምች ነው» ተብሎ ዳማከሴ ይታሻል፤ ነፋስ እንዳይነካው ተብሎ በሩ ይበልጥ ይዘጋል። ከሰል ያለበት ቤት ውስጥ ከሆነ በሩን ክፈቱ፣ ሰውየውን ወደ ውጭ አውጡ፣ ከዚያ ወደ ሕክምና። ሌላው ሁሉ በኋላ ይደርሳል።

እናቴ አሁን ቡና የምታፈላው በረንዳው ላይ ነው። ማንደጃው ግድግዳ ተጠግቶ በሁለት ብሎኬት ላይ ተቀምጧል። ድሮ የምትቀመጥበት በርጩማ ዝቅ ያለ ነበር፤ ከእሱ ለመነሣት የሰው እጅ ትፈልጋለች። አናጢው ከፍ ያለ፣ የክንድ ማሳረፊያ ያለው አበጀላት። መጀመሪያ «ቡና በወንበር አይፈላም» ብላ አጉረመረመች። አሁን ማንም እንዲቀመጥበት አትፈቅድም። ነጠላዋን ከኋላ ታስራለች፤ ጫፉ ፍም ላይ እንዳይወድቅ። ለጸሎት የምታበራውን ጧፍ ደግሞ አሸዋ በሞላ የሸክላ ሳህን ላይ ታቆመዋለች። መብራት ሲጠፋ ሻማ አንለኩስም፤ ቻርጅ የሚደረገው መብራት ትራስጌዋ ነው።

ከጉልበቷ ጋር በተያያዘ ያከራከረን ስግደት ነበር። በጾም ወራት መሬት ወድቃ ተነሥታ ነው የምትሰግደው። ወንድሜ «ይቅርባት» አለ። እሷ ደግሞ ስለ ስግደቷ ከልጆቿ ጋር አትነጋገርም። የንስሐ አባቷ መጡና ነገሩን ጨረሱት። ስግደት ግንባር መሬት የሚነካበት ሰጊድ ብቻ እንዳልሆነ፣ ጉልበት የሚታጠፍበት አስተብርኮ፣ ራስ ዝቅ የሚደረግበት አድንኖም እንዳለ አስታወሷት። «ልጄ፣ እግዚአብሔር ጉልበትሽን ያውቃል» አሏት። አሁን የአልጋውን ራስጌ ይዛ ጉልበቷን ታጥፋለች፣ ቀስ ብላ ትነሣለች። ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ ይህን ስትሰማ ደስ አላት። ከወንበር መነሣትና መቀመጥ፣ ጠረጴዛ ይዞ በአንድ እግር መቆም፣ ጭን የሚያጠነክሩና ሚዛን የሚያስጠብቁ እንቅስቃሴዎች ናቸው አለችን። እናቴ «እኔማ ስሠራው ነው የኖርኩት» አለች። እውነቷን ነው።

መድኃኒቷ የደም ግፊት ነው። ሽንት የሚያሸናውን ኪኒን ሐኪሙ ጠዋት እንድትወስደው ነው ያዘዘላት፤ ሌሊት እንዳያመላልሳት። ከአልጋ ስትነሣ መጀመሪያ ጠርዙ ላይ ትቀመጣለች፣ እግሯን ታወዛውዛለች፣ ከዚያ ትቆማለች። የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ድንገት ብድግ ሲል ግፊቱ ዝቅ ይልና ያዞረዋል። ስኳር ላለባቸው ደግሞ ጾም ጥንቃቄ ይፈልጋል። እንደ ግሊቤንክላማይድ ያሉ ኪኒኖችን ውጦ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበሉ መቆየት ስኳርን ከልክ በታች ያወርዳል፤ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ መደናገር፣ ከዚያም መውደቅ ነው። ጾሙ ሳይገባ ሐኪሙንም የንስሐ አባቱንም አነጋግሩ። ሌላው ደግሞ ደግነት ነው። «እኔን ይህ ተስማምቶኛል» እየተባለ ኪኒን ለጎረቤት ይሰጣል። እናቴ ይህን ልማድ የተወችው በብዙ ልመና ነው።

አንድ ነገር ግን በአናጢም በበያጅም አልተሠራልኝም። የእናቴ የቡና ጓደኞች ግማሾቹ ካዛንቺስ ነበሩ። በ2016 ፒያሳ፣ በ2017 ካዛንቺስ ሲፈርስ ሰዉ በየአቅጣጫው ወደ ዳር ሰፈሮች ሄደ። መንገዱ ሰፍቷል፣ የእግረኛው መሄጃም ተመችቷል፤ ይህን እኔም እመሰክራለሁ። የብዙ ዓመት ጎረቤት ግን ተበተነ። አንዷ ጓደኛዋ አራተኛ ፎቅ ደረሳቸው፤ ሊፍት የለውም። ቤቱ ከድሮው ይሻላል፣ ሽንት ቤቱም ውስጥ ነው። እሳቸው ግን ከቤት የሚወጡት ለቀብር ብቻ ሆነ። ሰው የሚያይ፣ የሚጠይቅ፣ «ዛሬ ምነው ጠፋችሁ» የሚል ጎረቤት ማጣት ትልቅ ሰውን ውስጥ ለውስጥ ይበላዋል። ቤቱ ቢያምርም ያው ነው።

ያገኘነው መላ ስልክ ነው። ጠዋት ቡና ሲደርስ እናቴ ደውላ ስልኩን ላውድ ታደርገዋለች፤ ጓደኛዋም እዚያ ፎቅ ላይ የራሳቸውን ቡና ቀድተው ይጠብቃሉ። የሰፈር ወሬ፣ የእድር ወሬ፣ የልጅ ልጅ ወሬ ያወራሉ። አንዷ ስልክ ካላነሣች ሌላዋ ለእኛ ለልጆች ትደውላለች። ይህ ለእኔ ከማንኛውም የማንቂያ ደወል ይበልጣል። ወር በገባ በ21 ደግሞ አምስት ኪሎ ቅድስት ማርያም ይገናኛሉ፤ እሳቸውን ልጃቸው በመኪና ያመጣቸዋል። እናቴ ከዘራ አትይዝም፣ መቋሚያ ግን ትይዛለች። መሬቱን ለመያዝ ሁለቱም አንድ ናቸውና አልከራከራትም። እታች ያለው የጎማ ቆብ ሲያልቅ ብቻ እቀይርላታለሁ።

ሥራም አላት። የግቢው ሴቶች በርበሬ ሲያዘጋጁ ቅመሙን የምትመጥነው እሷ ናት። ምስር ትለቅማለች፣ መነጽሯን አድርጋ። «እማማ ትየው» ተብሎ ነገር ወደ እሷ ሲመጣ ፊቷ ይበራል። ይህን ሥራ ለሠራተኛ ሰጥተን እሷን ቴሌቪዥን ፊት ብናስቀምጣት ምን እንደምትሆን ወንድሜ አስቦት አያውቅም ብዬ አላምንም። ሩቅ ሆኖ ግን የሚታየው መውደቋ ብቻ ነው።

ግድግዳው ላይ አንድ ወረቀት ለጥፌአለሁ፣ በትልቁ የተጻፈ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907። እሳትና አደጋ 939። ከሥሩ ደግሞ ወደ ቤታችን እንዴት እንደሚመጣ፣ ከየትኛው ታክሲ ማቆሚያ፣ በየትኛው ሱቅ በኩል እንደሚታጠፍ፣ የበሩ ቀለም ምን እንደሆነ። ሰው ሲደነግጥ የራሱን ሰፈር ማስረዳት ያቅተዋል። የግቢው ልጆችም አንብበውታል፤ እናቴ እነሱን እየጠራች ታስነብባቸዋለች።

የቀረን የግቢው መንገድ ነው። እስከ ሽንት ቤቱ ድረስ አምፖል እንዲሰቀል፣ የመብራቱንም ወጪ በየቤቱ እንድንካፈል ተስማምተናል። አንድ ሁለት ቤት «እኛ ማታ አንወጣም» ብለው ነበር፤ የግቢው ሽማግሌ አነጋገሯቸው። ወንድሜም ለሠራተኛ ሊልክ የነበረውን ለሲሚንቶ ልኳል። ክረምት ሳይገባ ድንጋዩን አስነሥተን እናስለስነዋለን። ግንበኛውን «ልሙጥ እንዳታደርገው» ብዬዋለሁ። ሳይደርቅ በመጥረጊያ ይጠርገዋል፤ እንዲያ ሲሆን ይሻክራል፣ ዝናብ ቢጥልበትም እግር ይይዛል።