ተቆላላፊ የላሜራ ክዳን፦ ለጣርማ በር ነፋስና ጉም ያወጣሁት ልክ

ከደብረ ሲና በላይ ባለው ጣርማ በር ላይ ዝናብ ከላይ ወደ ታች ብቻ አይመጣም። ከቆላው በኩል ገደሉን ተከትሎ የሚወጣው ነፋስ ጠብታውን ከጣሪያው ጠርዝ ስር ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ዝናብ በሌለበት ቀን ደግሞ ጉሙ ራሱ ብረቱ ላይ ውሃ ሆኖ ይውላል። የተለመደው ሸንተረራም ቆርቆሮ እዚህ ቶሎ የሚያፈሰው ስለሚዝግ ብቻ አይደለም፤ ሚስማሩ ውጭ ስለሚቀር ነው። ሌሊት ውርጭ፣ ቀን ፀሐይ ሲፈራረቁበት የብረቱ ሙቀት በ40 ዲግሪ ሊለዋወጥ ይችላል። ብረት በአንድ ዲግሪ በየሜትሩ 0.012 ሚሊ ሜትር ስለሚለጠጥ፣ 3.4 ሜትር ርዝመት ያለው ቆርቆሮ በየቀኑ 1.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሄዳል፣ ይመለሳል። ይህ ሁሉ ጉተታ የሚያርፈው ሚስማሩ ላይ ነው፤ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ጎማው ይላላል።

ስለዚህ በትናንሽ የላሜራ ቁራጮች ከሚሠራው ተቆላላፊ ክዳን የፈለግሁት ሁለት ነገር ነበር፦ ሚስማሩ በሙሉ ከላሜራው ስር እንዲደበቅና እያንዳንዱ ቁራጭ ለብቻው እንዲንቀሳቀስ። 33 ሳንቲ ሜትር ቁራጭ በዚያው 40 ዲግሪ የሚለጠጠው 0.16 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። መንዝ ውስጥ ቤት በጓሳ ሲከደንም አካሄዱ ይኸው ነው፤ ከታች ተጀምሮ እየተደራረበ ይወጣል፣ ማሰሪያው በቀጣዩ ድርብ ይሸፈናል። ሣሩ ውሃ የሚከለክለው በውፍረቱ ሲሆን ላሜራው ግን በእጥፋቱ ነው፤ እጥፋቱ ከተበላሸ የላሜራው ውፍረት አያድነውም።

መጀመሪያ የሞከርሁት ቅርጽ እንደ ጡብ የሚደረደር አራት ማዕዘን ነበር። የጎኑ መቆለፊያ ቀጥ ብሎ ስለሚወርድ ውሃው ውስጡ እንደ ቦይ ይሄዳል፤ ግራና ቀኙም የተለያየ ስለሆነ የረድፉ መጨረሻ ላይ ሌላ ዓይነት ቁራጭ ይጠይቃል። ካሬውን በጫፉ ሳቆመው ሁለቱም ችግሮች ቀሩ። አራቱም ጠርዞች ያዘነበሉ ስለሆኑ ውሃው ወደ ታችኛው ጫፍ ተሰብስቦ ቀጣዩ ቁራጭ መሐል ላይ ይወድቃል። ግራ ቀኝ የሚባል ነገርም የለውም፤ አንድ ፎርማ ሁሉንም ያወጣል።

መጠኑን የወሰነው 1 በ2 ሜትር የሆነው ጠፍጣፋ ላሜራ ነው። የላይኞቹ ሁለት ጠርዞች 2.5 ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት፣ የታችኞቹ ሁለት ጠርዞች 2 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ይታጠፋሉ። እነዚህን እጥፋቶች ከንፈር እላቸዋለሁ፤ ከላይ ያለው ቁራጭ የታች ከንፈር ከስሩ ባለው ቁራጭ የላይ ከንፈር ላይ ተጠልፎ ይቆለፋል። በየአቅጣጫው 4.5 ሳንቲ ሜትር በከንፈር ይሄዳል፣ 2.5 ደግሞ በመደራረብ። ስለዚህ 33 ሳንቲ ሜትር የተቆረጠ ካሬ የሚሸፍነው 26 በ26 ብቻ ነው። ከአንድ ላሜራ 18 ቁራጭ ይወጣል፤ 18ቱ 1.22 ካሬ ሜትር ይሸፍናሉ። 50 ሳንቲ ሜትር ቢቆረጥ 8 ቁራጭ ወጥቶ 1.48 ካሬ ይሸፍን ነበር፤ ቁጠባው ያጓጓል፣ ነገር ግን መሐሉ ሰፊ ሲሆን በነፋስ ይጮኻል፣ ይወዛወዛል። 25 ሳንቲ ሜትር ደግሞ ወደ 1.04 ካሬ ይወርዳል፤ ከብረቱ ግማሽ ያህሉ በእጥፋት ያልቃል። 33ን የመረጥሁት በዚህ ስሌት ነው።

ውፍረቱ 0.4 ሚሊ ሜትር፣ ዚንክ የተለበጠ። በጌጅ (የውፍረት መለያ) ቁጥር አትግዙ። ተመሳሳይ ቁጥር ተጽፎበት ውፍረቱ የሚለያይ ላሜራ ስላለ መለኪያ ይዞ ሄዶ ጠርዙን መለካት ነው። ከ0.3 በታች ከሆነ ከንፈሩ በእጅ ሲጫን ይዘጋል፣ መቆለፊያነቱም ያከትማል። ከ0.5 በላይ ከሆነ አራት ቁራጮች በሚገናኙበት ማዕዘን ላይ ድርቡ ጉብ ብሎ አልተኛም ይላል።

የሁለቱ ከንፈሮች ልዩነት፣ ማለትም 5 ሚሊ ሜትሩ፣ የሥራው ልብ ነው። በመጀመሪያው ሙከራ ሁለቱንም 2.5 አድርጌ ጥብቅ አድርጌ ጨፍልቄያቸው ነበር፤ በዓይን ሲታይ ያማረ ነበር፣ ግን አፈሰሰ። ሁለት ብረት ተጣብቆ ሲተኛ በመሐሉ ያለው ቀጭን ክፍተት ውሃውን ወደ ላይ ይስበዋል፤ ጨርቅ ጫፉን ውሃ ውስጥ ሲነክሩት እርጥበቱ እንደሚወጣው ማለት ነው። የታችኛው ከንፈር 5 ሚሊ ሜትር ሲያጥር እጥፋቱ ውስጥ ባዶ ቦታ ይቀራል፤ የተሳበው ውሃ እዚያ ሲደርስ ይቋረጣል። የእጥፋቱ አፍም 3 ሚሊ ሜትር ክፍት መሆን አለበት። ለዚህ 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ልሙጥ ብረት እጥፋቱ ውስጥ አስገብቼ በጎማ መዶሻ እመታለሁ፤ ልሙጡ ሲወጣ ብረቱ ትንሽ ተመልሶ 3 ላይ ይቆማል። ጨርሶ የተጨፈለቀ እጥፋት ሌላም ጉዳት አለው፦ ዚንኩ ጫፉ ላይ ይሰነጠቅና ዝገቱ ከዚያ ይጀምራል።

ማዕዘኖቹ ቀጥለው ይመጣሉ። አራቱም ማዕዘን ላይ ከንፈሮቹ እንዳይደራረቡ ተቆርጠው መውጣት አለባቸው፤ ከላይ 2.5 በ2.5፣ ከታች 2 በ2፣ ከጎን 2.5 በ2። መቀሱ ከማጠፊያው መስመር 1 ሚሊ ሜትር ሲቀረው ይቁም። በእያንዳንዱ መገናኛ ላይ ከስር የአንዱ የላይ ጫፍ፣ ከግራና ከቀኝ የሁለት ቁራጮች ጎን አለ፤ ይህን ሁሉ የሚሸፍነው ከላይ የሚመጣው ቁራጭ የታችኛ ጫፍ ነው። መቀሱ እዚያ ጫፍ ላይ መስመሩን 2 ሚሊ ሜትር ካለፈ፣ ውሃ የሚሰበሰብበት ቦታ ላይ ቀዳዳ ተከፈተ ማለት ነው። ሲሊኮን ለአንድ ክረምት ይሸፍነዋል፣ ከዚያ በላይ ግን አልተማመንበትም። እንዲህ ያለውን ቁራጭ ጠርዝ ላይ ለሚገባው ግማሽ ቁራጭ ማዋል ይሻላል።

መቁረጫው የእጅ መቀስ ነው። በፍሌክሲ፣ ማለትም በኤሌክትሪክ በሚሽከረከር መቁረጫ፣ የተቆረጠ ላሜራ ጠርዙ ላይ ዚንኩ ይቃጠላል፤ የሚረጨው ትኩስ ብናኝም ሌላው ላሜራ ላይ ተጣብቆ በጥቂት ቀን የዝገት ነጠብጣብ ያወጣል። ምልክት በሚስማር አይጫርም፣ በማርከር ነው።

ላሜራ ማጠፊያውን ከሁለት 40 በ40 ሚሊ ሜትር አንግል ብረትና ከሁለት የበር ማጠፊያ ጋር ጠረጴዛ ላይ አሰርሁት። በላዩ ያለው ትልቁ ነገር ማቆሚያው ነው፤ ላሜራው ገፍቶ የሚቆምበት፣ አንዱ በ2.5 ሌላው በ2 የተበየደ ጠፍጣፋ ብረት። በእርሳስ መስመር ያጠፍኋቸው የመጀመሪያ ቁራጮች እርስ በርስ እስከ 2 ሚሊ ሜትር ይለያዩ ነበር። 2 ሚሊ ሜትር ምንም አይመስልም፤ በ20 ቁራጭ ረድፍ ላይ ግን 4 ሳንቲ ሜትር ይሆንና መገናኛዎቹ ከእንጨቱ ላይ ይወርዳሉ። ቀለም ያለው ላሜራ ከሆነ ደግሞ በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ብርድ ላይ አይታጠፍ፤ ቀለሙ እጥፋቱ ላይ ይሰነጠቃል። ፀሐይ እስኪያሞቀው መጠበቅ ነው።

ቁራጩ እንዲጠነክር ከላይ ጫፍ ወደ ታች ጫፍ ጉብታ ብሰጠው ውሃውን ወደ ሁለቱ ጎን መቆለፊያ ገፋው። ገልብጬ 3 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ያለው ስርጉድ አደረግሁት፤ ከጠርዞቹ 4 ሳንቲ ሜትር ሲቀረው የሚያልቅ። አሁን ውሃው መሐሉን ይዞ ይወርዳል።

እንጨቱ ላይ ስንደርስ፣ 26 ሳንቲ ሜትር ካሬ በጫፉ ሲቆም ከጎን ወደ ጎን 36.8 ይሆናል፤ ረድፍ ከረድፍ ያለው ከፍታ የዚህ ግማሽ፣ 18.4 ነው። ሊስትሮው፣ ማለትም ክዳኑ የሚያርፍበት አግድም እንጨት፣ በ18.4 ከመሐል እስከ መሐል ሲመታ ማዕዘኖቹ ሁሉ እንጨት ላይ ያርፋሉ። የጣሪያውን ልክ ለቁራጩ ማስተካከል ከተቃራኒው ይቀላል። የጣሪያው ርዝመት 7.20 ሜትር ነበር፤ ክፈፉን በየጎኑ 8 ሳንቲ ሜትር ሳስረዝመው 7.36 ሆኖ ልክ 20 ቁራጭ ገባበት። የአንዱ ጎን ስሎፕ (ተዳፋት) 3.40 ሜትር ነው፤ 18 ረድፍ 3.31 ይይዛል፣ የቀረውን 9 ሳንቲ ሜትር የአናት መክደኛው ይሸፍነዋል። ለሁለቱ ጎን፣ 50 ካሬ ሜትር፣ 740 ቁራጭ ይበቃል፤ ከብልሽትና ከግማሽ ቁራጮች ጋር 800 ያዝሁ፣ 45 ላሜራ። ቁራጩን ከእንጨቱ ጋር ለሚይዙት ምላሶች 2፣ ለአናቱና ለጠርዞቹ 5 ሲጨመር 52። ሊስትሮው ባለ 4 ሜትር 70 ፍሬ ነው፤ ይህ ለሸንተረራም ቆርቆሮ ከሚያስፈልገው ከ3 እጥፍ በላይ ስለሆነ ዋጋ ሲሰላ አይረሳ። ባህር ዛፉ እርጥብ ከተመታ ሲደርቅ ይጣመምና መቆለፊያውን ያላቅቃል። ቢያንስ ሁለት ወር በጥላ ተደርድሮ ይድረቅ።

ስሎፑ 30 ዲግሪ ነው፤ ለ2.95 ሜትር አግድም 1.70 ሜትር ከፍታ። በ18 ዲግሪ የሞከርሁት ናሙና ቀጥ ያለ ዝናብ ቻለ፣ ነፋስ የያዘውን ግን አልቻለም።

ምላስ የምለው ቁራጩን ከእንጨቱ ጋር የሚይዘውን 3 በ8 ሳንቲ ሜትር ቅንጣቢ ነው። 1.5ቱ ወደ ኋላ ታጥፎ የላይኛው ከንፈር ውስጥ ይገባል፣ በከንፈሩ ላይ ያልፋል፣ ከዚያ በላይ አንድ ሚስማር ይመታበታል፤ የቀረው 1.5 ጫፍ ተመልሶ የሚስማሩን ራስ ይሸፍናል። ካልተሸፈነ ራሱ የሚመጣውን ቁራጭ ከስር እየፈተገ ይበሳዋል። ለአንድ ቁራጭ ሁለት ምላስ፣ ከላይኛው ጫፍ ግራና ቀኝ 3 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ፤ በጠርዝና ከታች ባሉት ሁለት ረድፎች ሦስት። ነፋስ ጣሪያ ማንሳት የሚጀምረው ከጠርዝ ነው። የምላሱና የመቆለፊያው ሥራ መለየት አለበት፦ ቁራጩ ወደ ታች እንዳይንሸራተት የሚይዘው ምላሱ ሲሆን፣ ነፋስ የታች ጠርዙን እንዳያነሳ የሚይዘው መቆለፊያው ነው። ምላስ ቀንሶ መቆለፊያውን ያመነ ሰው ቁራጩ ሸርተት ብሎ ከመቆለፊያው ሲወጣ ያየዋል። ሚስማሩም ዚንክ የተለበጠ ይሁን፤ ያልተለበጠው ከላሜራው ቀድሞ ይበላል።

አነጣጠፉ ከታች ነው። የመነሻ ጠርዙ ከጣውላው 5 ሳንቲ ሜትር ወጥቶ ይመታል፣ ግማሽ ቁራጮቹ እሱ ላይ ይቆለፋሉ። በየሦስት ረድፉ ክር መትቼ መስመሩን አያለሁ፤ እያንዳንዱ መቆለፊያ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ማላላት ስለሚችል ስህተቱ ገና ትንሽ ሳለ በዚያ ይታረማል። በቤቱ ግራና ቀኝ ዳርቻ የሚገቡት ግማሾች ጫፋቸው 2 ሳንቲ ሜትር ወደ ላይ ይቆም፣ ከዚያ የጠርዝ መሸፈኛው ይግባበት። አናቱ ላይ የሚለሰን ሲሚንቶ ካለ ከክዳኑ በፊት ይለቅ፤ እርጥብ ሲሚንቶ ዚንክ ይበላል።

ፍተሻውን በጀሪካን ውሃ ከአናቱ ማፍሰስ አይበቃም፣ ያንን ሁሉም ክዳን ያልፋል። ለአረም መርጫ የሚያገለግለውን በጀርባ የሚታዘል መርጫ አጥቤ፣ ከታች ወደ ላይ፣ መቆለፊያዎቹን ፊት ለፊት እያየሁ ረጨሁ። አንድ ሰው ከውስጥ በባትሪ ያያል። ያፈሰሱት ቦታዎች ሁሉ ማዕዘን ላይ ነበሩ።

ከውስጥ የሚንጠባጠብ ውሃ ሁሉ ግን ፍሳሽ አይደለም። ውርጭ ባደረበት ጠዋት የቤቱ ትንፋሽና የምድጃው እንፋሎት ከላሜራው ስር ይረጋና ፀሐይ ሲነካው ይወርዳል። መጀመሪያ ላስቲክ አንጥፌበት ባሰ፤ እርጥበቱን አፍኖ እንጨቱን አራሰ። መፍትሔው አየር ነው፦ በታችኛው ጠርዝ ስር 2 ሳንቲ ሜትር ክፍተት፣ በአናት መክደኛው ስርም እንዲሁ፣ ሁለቱም በወንፊት ሽቦ የተዘጉ። ኩበት የሚነድበት ቤት ከሆነ ይህ ግዴታ ነው፤ ጭሱ ከጤዛው ጋር ተቀላቅሎ ላሜራውን ከስር ይበላዋል።

አሸንዳው ለበረዶ ይታሰብ። በሰዓት 100 ሚሊ ሜትር የሚጥል ዶፍ ከአንዱ ጎን በደቂቃ 36 ሊትር ያወርዳል፤ ይህን ተራ አሸንዳ ይችለዋል። የሐምሌና የነሐሴ በረዶ ግን አሸንዳውን ሞልቶ ይዘጋውና ውሃው ወደ ኋላ፣ ወደ ክዳኑ ስር ይመለሳል። የአሸንዳው የፊት ከንፈር ከኋላው 1 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ካለ ትርፉ ወደ ውጭ ይፈሳል።

አንድ ቁራጭ ሲጎዳ መሐሉን በመቀስ ከፍቶ ከአራቱም መቆለፊያ ማላቀቅ ይቻላል። አዲሱ የላይኛው ከንፈር ሳይኖረው ይቆረጣል፤ ከላይኞቹ ከንፈር ስር ወደ ላይ ይገፋል፣ የታችኛው ከንፈሩ በዚያው ግፊት ይቆለፋል። ምላስ ስለማይገባለት፣ ከላይ የሚመጣው ቁራጭ ጫፍ ላይ አንድ ባለ ጎማ ቡሎን ሁለቱን አልፎ ሊስትሮው ውስጥ ይገባል። በጣሪያው ላይ ውጭ የሚታየው ቡሎን ይኸው ብቻ ነው፤ በየዓመቱ ከክረምት በፊት ጎማው ይታይ።