የጋዝ ውሃ ማሞቂያ፦ ብልጭታ እያለ ለምን አይቀጣጠልም?

ደብረ ብርሃን ውርጭ ሲበረታ የጋዝ ማሞቂያዎችም እምቢ ማለት ይጀምራሉ። ያኔ ቶሎ የሚጠረጠረው ኤሌክትሮኒክ ሳጥኑ ነው። ውዱ ዕቃ እሱ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ጤነኛ ነው። ዕቃ ከመግዛት በፊት ሥራው የት ላይ እንደቆመ እንለይ።

በባትሪ ድንጋይ የሚሠራው ዓይነት የሞቀ ውሃ ሲከፈት የውሃው ግፊት ላስቲኩን ይገፋና ማብሪያዋን ይነካል። ሳጥኑ በአንደኛዋ ዘንግ ጫፍ ብልጭታ እየሰጠ የጋዙን ቫልቭ ይከፍታል። እሳቱ ሲይዝ ሁለተኛዋ፣ ጠቋሚዋ ዘንግ በነበልባሉ ውስጥ የሚያልፈውን እጅግ ትንሽ ኤሌክትሪክ፣ በማይክሮአምፒር የሚለካ፣ ለሳጥኑ ታደርሳለች። ይህ ካልደረሰው በጥቂት ሰከንድ ጋዙን ይዘጋል።

ጭራሽ ጠቅ ጠቅ ካላለ የውሃው ግፊት ደካማ ነው፣ ወይም መግቢያው ላይ ያለችው ወንፊት ቆሽሻለች፣ ካልሆነም ድንጋዩ አልቋል።

ብልጭታ እያለ እሳት ከሌለ ግን ጉዳዩ ሰፊ ነው። ሁለቱ ባለ 1.5 ቮልት ድንጋዮች ሲደክሙ ለብልጭታው ይበቁና ቫልቩን መሳብ ያቅታቸዋል። ስለዚህ ቴስተሩን (የቮልት መለኪያውን) ድንጋዮቹ ላይ ማሞቂያው ለመቀጣጠል በሚሞክርበት ሰዓት አስገቡ፤ ሥራ ሳይኖር የሚነበበው ቁጥር ያታልላል። ሲሊንደር እንደተቀየረ ከሆነ ጎማው ውስጥ አየር አለ፤ ውሃውን ደጋግሞ መክፈትና መዝጋት ያስወጣዋል። የብልጭታዋ ዘንግ ጫፍ ከማቃጠያው ከ3 እስከ 5 ሚሊሜትር ትራቅ። ዘንጓን የያዘው ነጩ ሸክላ ከተሰነጠቀ ብልጭታው ወደ ብረቱ ይሸሻል፤ ጋዙን ዘግታችሁ በጨለማ ብታዩት በግልጽ ይታያል። የጋዝ ሽታ ካለ ግን ሙከራው ይቁም፤ ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል፣ በር ከፍቶ ማናፈስ ያስፈልጋል።

በርቶ ወዲያው የሚጠፋ ከሆነ የጠቋሚዋን ዘንግ ጥቀርሻ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ጥረጉ፤ ጫፏ ነበልባሉ ውስጥ መግባቷንም እዩ። ፓይለት (ሁልጊዜ የምትነድ ትንሽ እሳት) ባለው አሮጌ ዓይነት ይህን ሥራ የሚሠራው ቴርሞካፕል የሚባል ሙቀት ጠቋሚ ነው። ሲግል ከ20 እስከ 30 ሚሊቮልት ያመነጫል፤ ፓይለቷን ሲያበሩ ቁልፉን እስከ 30 ሰከንድ ተጭኖ መቆየት ያስፈለገውም ለዚህ ነው።

ጥቀርሻው ቶሎ ከተመለሰ መጥረጉ አይበቃም። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ከሩብ በላይ ያንሳል፤ ነበልባሉ ኦክስጅን ሲያጥረው ቢጫ ይሆናል። የአየር መግቢያዎቹን ከአቧራና ከሸረሪት ድር አጽዱ። ቢጫነቱ ከቀጠለ በፋብሪካው መመሪያ መሠረት ለከፍታ የሚሆን ጠባብ የጋዝ አፍንጫ ይገጠምለት። እስከዚያ አትጠቀሙበት፤ ቢጫ ነበልባል ሽታ የሌለው ገዳይ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል።