አንዲት ጭረት አንድ ዓመት በላችብኝ

ይህን የምጽፈው ለእኔ የነገረኝ ሰው ስላልነበረ ነው። ቢኖር ኖሮ አሁን የሁለተኛ ዓመት ሬዚደንት፣ ማለትም ስፔሻሊስት ለመሆን የምሠለጥን ሐኪም፣ ነበርኩ። ገና አንደኛ ዓመት ላይ ነኝ።

ነገሩ አሜሪካ ውስጥ ለሕፃናት ኒውሮሎጂ (የአንጎልና የነርቭ ሕክምና) ሬዚደንሲ ማመልከት ነው። ብዙ ሰው የሕፃናት ሕክምና ስፔሻሊቲ ጨርሶ የሚገባበት ብቻ ይመስለዋል። አይደለም። በቀጥታ የሚገባበት የ5 ዓመት መንገድ አለ፤ 2ቱ ዓመት አጠቃላይ የሕፃናት ሕክምና፣ 3ቱ ኒውሮሎጂ። ስታመለክቱ ካተጎሪካል የሚለውን ፈልጉ፣ አምስቱንም ዓመት አንድ ላይ የሚሰጠው እሱ ነው። አድቫንስድ የሚለው 3ቱን ብቻ ነው፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ራሳችሁ ሌላ ቦታ ትፈልጋላችሁ። ሪዘርቭድ ደግሞ ሕፃናት ሕክምናውን ቀድመው ለሠሩ ነው።

ፈተናዎቹን በአጭሩ ልለፋቸው። ስቴፕ የሚባሉትን የአሜሪካ የሐኪም ፈቃድ ፈተናዎች፣ 1ን በ2022፣ 2ን በ2023 ወሰድኩ፣ የእንግሊዝኛውን ኦኢቲ ጨመርኩ፣ አለፍኩ። ሌሊት አረጋውያን እየተንከባከብኩ ቀን ዩወርልድ የሚባለውን የመለማመጃ ጥያቄ እየሠራሁ ነው ያለፍኩት። ስለ ጥናት የሚመክር ሰው ሞልቷል። ስለ ወረቀት የሚያወራ ግን የለም፣ እኔን የጣለኝ ደግሞ ወረቀት ነው።

የውጭ ተመራቂዎችን የሚያረጋግጠው ኢሲኤፍኤምጂ የሚባለው ድርጅት ነው። ዲግሪያችሁን ትልኩለታላችሁ፣ እሱ ደግሞ ወደ ተማራችሁበት ዩኒቨርሲቲ መልሶ ልኮ «ይህ የእናንተ ነው ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። የሚያረጋግጠው ሰው እነሱ ዘንድ ስሙና ፊርማው የተመዘገበ ኃላፊ መሆን አለበት። ሲነበብ ቀላል ነው።

መጀመሪያ የራሴን ጥፋት ልናገር። ከኢትዮጵያ ስወጣ ቴምፖ፣ ማለትም ጊዜያዊውን ዲግሪ፣ ይዤ ነው የወጣሁት። የወጪ መጋራቱን ከፍዬ ኦሪጅናሉን ማውጣት እችል ነበር። ግን ዲቪ ደረሰኝ፣ ቲኬት ተቆረጠ፣ የሽኝት ዶሮ ተበላ፣ «ኋላ ይደርሳል» ብዬ ሄድኩ። ቴምፖ ደግሞ አይሠራም፣ የሚፈልጉት የመጨረሻውን ዲግሪ ነው። ታናሽ ወንድሜን ላክኩት። ውክልና አምጣ አሉት። ከኤምባሲ ውክልና አሠርቼ ላክኩለት፣ ዕዳው ተከፈለ፣ ከሦስት ወር በኋላ ዲግሪው ወጣ። በቴሌግራም ፎቶውን ሲልክልኝ ሆዴ ተላወሰ።

የአባቴ ስም ገብረሥላሴ ነው። ፓስፖርቴ ላይ በእንግሊዝኛ ሙሉውን ተጽፏል። ዲግሪዬ ላይ ግን ገ/ሥላሴ ነው፤ እንግሊዝኛውም እንደዚያው፣ አንድ ፊደል፣ ጭረት፣ ሥላሴ። ያቺ ትምህርት ቤት እዝባር ብለው ያስተማሩን ጭረት። ለእኛ ምንም አይደለችም። ገ/ማርያም፣ ወ/ሚካኤል፣ ኃ/ጊዮርጊስ እያልን ነው ያደግነው፣ የሚደናገር የለም። ለውጭ ሰው ግን ሌላ ሰው ናት። ኢሲኤፍኤምጂ ላይ አልፈርድም፣ ስሙ አልገጠመምና ማብራሪያ ጠየቀ።

ማብራሪያው ምንድን ነው? ዩኒቨርሲቲው «ሁለቱም ስሞች የአንድ ሰው ናቸው» ብሎ የሚጽፈው ደብዳቤ። ሦስት መስመር! ለሦስት መስመር ወንድሜ 11 ጊዜ ተመላለሰ፤ ትምህርት ቤቱ አዲስ አበባ ስላልሆነ አንዱ ምልልስ የአውቶቡስ ጉዞና የአንድ ሌሊት አልጋ ነው። መስኮቱ ላይ ያለችው ሴትዮ ውክልናውን አገላብጣ አየችና «ይሄ ዲግሪ ለመውሰድ ይላል እንጂ ደብዳቤ ለማጻፍ አይልም» አለችው። ልክ ነበረች፣ ይሄ ነው የሚያናድደኝ። ሁለተኛ ውክልና አሠራሁ። ከዚያ ሲስተም የለም። ከዚያ ኃላፊው ስብሰባ ናቸው። ከዚያ ደብዳቤው ተጽፎ፣ ተፈርሞ፣ ማኅተሙን የቆለፈው ሰውዬ የዓመት ፈቃድ ወጥቷል። ወንድሜ ሌሊት ላይ ደውሎ «አንቺ፣ ማኅተሙን ይዞት ነው እንዴ የሄደው?» ሲለኝ መጀመሪያ ሳቅኩ፣ ስልኩን ስዘጋ አለቀስኩ።

ደብዳቤው ደረሰ። አላለቀም። የማረጋገጫ ቅጹን የሞላው ሰው ቀኖቹን በሙሉ በእኛ አቆጣጠር ሞልቶታል። የገባሁበት 2003፣ የተመረቅኩበት 2009። ፓስፖርቴ ደግሞ በ1993 ተወለደች ይላል፣ በፈረንጅ። አስቡት፣ በ10 ዓመቴ ሕክምና ትምህርት ገብቼ በ16 ዓመቴ የተመረቅኩ ጉድ ሆንኩ። ቅጹ ተመለሰ። የተስተካከለው ጥያቄ ደግሞ በድሮው ዲን ኢሜይል ተላከ። ሰውየው ሥልጣን ከለቀቁ ቆይተዋል፣ አዲሱ ኃላፊ አልተመዘገቡም፣ ኢሜይሉን የሚከፍት የለም፣ ይህንን ለማወቅ ብቻ ሰባት ሳምንት ፈጀብን። የኢሲኤፍኤምጂ ምስክር ወረቀት እጄ ሲገባ ጥር ነበር።

ማመልከቻዬን ግን ሴፕቴምበር 2023 ላይ ልኬዋለሁ። ምክንያቱም ደንቡ የሚለው «ለማመልከት ምስክር ወረቀቱ ግዴታ አይደለም፣ ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ይድረስ» ነው። ደንቡ እውነቱን ነው። አትስሙት። ብዙ ፕሮግራሞች ገና ሲጀምሩ ምስክር ወረቀት የሌለውን በማጣሪያ ያወጡታል፣ ማመልከቻችሁን የሚያነበው ሰው ጋ እንኳን አይደርስም። ያን ዓመት አንድም ኢንተርቪው አልመጣልኝም። የማመልከቻው ገንዘብ የሁለት ወር የሌሊት ሥራዬ ነበር። በዚያ ላይ ከተመረቁ 5 ዓመት ያለፋቸውን የማይቀበሉ ፕሮግራሞች አሉ፣ ለእኔ እያንዳንዱ ዓመት የሚዘጋ በር ነው።

ስለዚህ፣ አሁን ኢትዮጵያ ውስጥ ያላችሁ፣ ኢንተርን ብትሆኑም እንኳ፣ ነገ ሂዱና የዲግሪያችሁ ስም ፓስፖርታችሁ ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል እንዲገጥም አድርጉ። ኦሪጅናሉን ሳትይዙ አውሮፕላን አትሳፈሩ። ውክልና ካሠራችሁም «ማንኛውንም የትምህርት ማስረጃ ለማውጣት፣ ለማጻፍ፣ ለማሳረምና ለመከታተል» ብላችሁ ሰፋ አድርጋችሁ አጽፉ። ቅጹን ለሚሞላላችሁ ሰው ደግሞ ቀኖቹን በፈረንጅ በእርሳስ ጽፋችሁ አያይዙለት። ያስቀይማል የሚል ሰው አለ። ይቀየሙ።

በባከነው ዓመት አንድ ደህና ነገር ሆነ። አንዲት የሕፃናት ኒውሮሎጂስት ክሊኒኳ ውስጥ ቆሜ እንድታዘብ ፈቀደችልኝ። ያለ ደላላ ነው፣ ኢሜይል ጽፌላት። ኦብዘርቨርሺፕ (እንዲህ ቆሞ መታዘብ) እናገናኛለን ለሚሉት ገንዘብ አትክፈሉ፣ 40 ኢሜይል ጻፉና አንድ መልስ ጠብቁ። አንድ ቀን አንዲት እናት በስልኳ ቪዲዮ አሳየችን። የስድስት ወር ልጅ ነው፣ እጥፍ ይላል፣ ይዘረጋል፣ ደግሞ እጥፍ ይላል። ኢንፋንታይል ስፓዝም፣ የጨቅላ ሕፃናት የሚጥል በሽታ ዓይነት። ደነዘዝኩ። ክፍለ ሀገር ስሠራ እንዲህ የሚያደርግ ልጅ አምጥተውልኝ ቁርጠት ነው ብዬ የመለስኩት ነበር። እዚያ ሰው ልጁን ሲጥለው ክብሪት እያሸተቱ ያመጡት ነበር፣ እኔም ፌኖባርቢታል ከሚባለው የሚጥል በሽታ መድኃኒት ሌላ ብዙ የምሰጠው አልነበረኝም፣ ያኛው ልጅ ግን ለዚያም አልታደለም።

ፐርሰናል ስቴትመንቴን፣ ከማመልከቻው ጋር ስለ ራስ የሚጻፈውን፣ በዚያ ልጅ ጀመርኩት። ስህተትሽን አትጻፊ፣ ድክመት ይመስላል ያሉኝ ብዙ ናቸው። ኢንተርቪው ላይ ግን ሁሉም የጠየቁኝ ስለ እሱ ነው።

ኢንተርቪው ላይ አንድ ያደናበረኝ ነገር ነበር። ከ3ቱ የኒውሮሎጂ ዓመታት አንዱ የአዋቂዎች ነው። አንዱ ጠያቂ «የ80 ዓመት ሽማግሌ ስትሮክ ይዟቸው ሌሊት ቢመጡ ደስ ብሎሽ ትሠሪያለሽ?» አለኝ። ለዚህ አልተዘጋጀሁም ነበር። አራት ዓመት ሌሊት ሌሊት ማን ጋ ነው የማድረው አልኩት፣ ሳቀ። ካተጎሪካል ከሆነ የሕፃናት ክፍሉም ለብቻው ሊጠይቃችሁ ይችላል፤ «ለምን በቀጥታ ሕፃናት ሕክምና አልሆንሽም?» ለሚለው መልስ ይኑራችሁ።

ከኢንተርቪው በኋላ ፕሮግራሞቹን በምርጫ ቅደም ተከተል ስትደረድሩ ደግሞ «የሚወስደኝን ላስቀድም» አትበሉ። አመልካችና ፕሮግራም የሚገጣጠሙበት አሠራር የሚጀምረው ከእናንተ ምርጫ ነው፣ ከልባችሁ የምትፈልጉትን አንደኛ አድርጉ። እኔ ሦስተኛዬን አገኘሁ። ማርች 2025 ሰኞ ዕለት ማለፌ፣ ዓርብ ዕለት የት እንደሆነ ተነገረኝ።

ወንድሜ አሁን የሦስት ጓደኞቼን ወረቀት ይከታተላል። የመስኮቷ ሴትዮ በስሙ ትጠራዋለች። የአውቶቡሱን ይቀበላል፣ ለድካሙ ግን ማኪያቶ ብቻ ነው የሚጠይቀው።