በዘወረደ ሳምንት የዋለው የቻይና አዲስ ዓመት

በ2010 ዓ.ም. የቻይናዎች አዲስ ዓመት የዋለው ዓርብ የካቲት 9 ነበር። አቢይ ጾም ደግሞ የገባው ሰኞ የካቲት 5 ነው። እንግዲህ አስቡት። ዓመቱን ሙሉ የሚጠበቀው የዋዜማ እራት፣ ዶሮውም ዓሣውም አሳማውም የሚቀርብበት ማዕድ፣ የዋለው በዘወረደ ሐሙስ ነው። እኔ ያኔ በደቡብ ቻይና፣ ጓንዡ ከተማ ተማሪ ነበርኩ። ሊዋን በሚባለው አሮጌ ሰፈር፣ አንድ ቤተሰብ ቤት ውስጥ ክፍል ተከራይቼ ነበር የምኖረው። እራቱ ላይም ተጠርቻለሁ።

ለትምህርት ወደ ቻይና የሚሄዱ ልጆች እስካሁን ይጠይቁኛል። ጾም ከበዓላቸው ጋር ሲገጥም ምን ይደረጋል? ሰው ሳይቀየም እንዴት ይወጡታል? መልሴ ትንሽ ይረዝማል። ምክንያቱም የረዳኝ በዕለቱ ያደረግኩት ነገር አይደለም። ከበዓሉ በፊት በነበሩት ተራ ወራት ከሰዎቹ ጋር የኖርኩት ኑሮ ነው።

ሊዋን ውስጥ መንገዱ ጠባብ ነው። የድሮዎቹ ሕንፃዎች ፎቃቸው ወደ መንገዱ ወጣ ስለሚል የእግረኛው መሄጃ ጣሪያ አለው፤ ዝናብ ቢዘንብም ሳይበሰብሱ ይሄዳሉ። ጠዋት ሽማግሌዎች ወፎቻቸውን በቀፎ አንጠልጥለው ወደ መናፈሻ ይወጣሉ። ማታ ማታ እናቶች አደባባይ ላይ ተሰልፈው በሙዚቃ ይወዛወዛሉ። ክረምቱ በረዶ የለውም፤ ቤት ውስጥ ግን ማሞቂያም የለም። ካፖርት ለብሼ ነበር የማጠናው።

አከራዬ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ከእናቴ በዕድሜ ከፍ የሚሉ ሴት ናቸው። «አዪ» እላቸው ነበር፤ እዚያ ትልቅ ሴት እንደ አክስት ነው የምትጠራው። ቅዳሜ ጠዋት ሻይ ቤት ይወስዱኛል። የጓንዡ የጠዋት ሻይ ቁርስ ብቻ አይደለም፤ ሰዓታት ይፈጃል። መጀመሪያ ሲኒውና ሳህኑ በትኩስ ሻይ ይታጠባል። ከዚያ በቀርከሃ መያዣ በእንፋሎት የበሰሉ ትንንሽ ምግቦች ይመጣሉ። ሰው ሻይ ሲቀዳልህ በሁለት ጣት ጠረጴዛውን መታ መታ ታደርጋለህ፤ ምስጋና ነው፤ ወሬም አያቋርጥም። ይህቺን ነገር በጣም ወደድኳት።

እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው አንድ ነገር ያስተዋልኩት። አዪ አንዳንድ ቀን የሚወዱትን የሽሪምፕ ምግብ አይነኩም። ጠየቅኳቸው። በጨረቃ አቆጣጠር ወር በገባ በመጀመሪያውና በአሥራ አምስተኛው ቀን ከሥጋና ከዓሣ ይታቀባሉ። የቡድሃ እምነት ያላቸው ብዙ ሽማግሌዎች እንዲሁ ያደርጋሉ። እኔም ስለ ረቡዕና ዓርብ ነገርኳቸው። ልዩነታችንንም ተነጋገርን። እሳቸው በዚያ ቀን ቀይም ነጭም ሽንኩርት አይቀምሱም፤ እኔ ሽንኩርቱን እበላለሁ፣ እንቁላልና ወተት ግን አልነካም። ከዚያ ወዲህ ረቡዕ ቀን ወጥ ቤት ስንገናኝ «ዛሬ ያንቺ ቀን ነው» ይሉኝ ነበር።

ስለዚህ አቢይ ጾም ሲቃረብ አዲስ ነገር አልነበረም የማስረዳው። «የእኔ ቀን ዘንድሮ ሃምሳ አምስት ቀን ነው» አልኳቸው። ደነገጡ። ከዚያ በጣታቸው ቆጥረው እራቱ ውስጥ እንደሚወድቅ አወቁ። ይህን ያልኩት በዓሉ ሳምንታት ሲቀረው ነው። ለሚጠይቁኝ ሁሉ አጥብቄ የምናገረውም ይህን ነው፦ ጾመኛ መሆናችሁን ገበታ ላይ ተቀምጣችሁ አትናገሩ። ባለቤቷ ዓሣውን ገዝታ፣ ዶሮውን አብስላ፣ በቾፕስቲክ ምርጡን ሥጋ አንስታ ሳህናችሁ ላይ ስታኖር «አልበላም» ማለት ያስከፋል። አስቀድሞ የሰማች ሴት ግን መላ ትፈልጋለች። አዪም «እንግዲያው አብረን እንሠራለን» አሉኝ።

ሥራው የጀመረው ጾሙ ከመግባቱ በፊት ባለው ቅዳሜ ነው። በጓንዡ ለበዓል ዩጎክ የሚባል ጥብስ ይሠራል። ሊጡ በክብ ይዳመጣል፤ ተወቅጦ ከስኳርና ከሰሊጥ ጋር የተቀላቀለ ኦቾሎኒ ይገባበታል፤ ይታጠፋል፤ ጠርዙ በጣት ተቆንጥጦ እንደ ሹሩባ ይጎነጎናል፤ ከዚያ በዘይት ይጠበሳል። ጠርዙ ላይ ነው ሙያው። ካልጠበቀ ዘይቱ ውስጥ ይፈታና ስኳሩ ይቃጠላል። የአዪ ልጅ፣ የልጅ ልጆቻቸው፣ አንዲት ጎረቤት፣ ሁላችንም ጠረጴዛውን ከበን ተቀመጥን። ሊጡ የሚለወሰው በአሳማ ሞራና በእንቁላል ነው። አዪ ግን ለብቻው ትንሽ ሊጥ በኦቾሎኒ ዘይት ለወሱልኝ፤ እንዳይደባለቅም ቆርቆሮው ላይ ቀይ ወረቀት ለጠፉበት። ሌላው ጥብስ፣ ጂንዱይ የሚሉት ድቡልቡል፣ ከሩዝ ዱቄትና ከስኳር ተሠርቶ ሰሊጥ ይነሰነስበታል። በንጹሕ ዘይት እስከተጠበሰ ድረስ የጾም ነው።

እዚህ ላይ ስለ ምግቡ ትንሽ ልጨምር፤ ለጾመኛ ይጠቅማል። አትክልት ነው ተብሎ የሚቀርብ ሁሉ የጾም አይደለም። ጎመኑ ላይ የሚፈስሰው ጥቁር ስጎ ብዙ ጊዜ ኦይስተር ከሚባል የባሕር እንስሳ የተሠራ ነው። ሾርባው የአጥንት ነው። ከአኩሪ አተር የሚሠራው ቶፉ ውስጥም የተፈጨ ሥጋ ሊኖር ይችላል። ዋናው መላ «ሥጋ አለው ወይ?» ብሎ መጠየቅ አይደለም፤ «በምን ዘይት፣ በምን ስጎ ተሠራ?» ማለት ነው።

ከዓመቱ የመጨረሻ ወር 28ኛው ቀን የጽዳት ቀን ነው፤ በዚያ ዓመት ማክሰኞ ዋለ። መስኮት፣ መጋረጃ፣ የምድጃው ጥግ፣ ሁሉም ይታጠባል። አዲሱ ዓመት ከገባ በኋላ በመጀመሪያው ቀን ቤት አይጠረግም፤ መልካም ዕድሉ አብሮ እንዳይወጣ ይባላል። ራስም አይታጠቡም። ስለዚህ ሁሉም ነገር ቀድሞ ያልቃል፤ ዕዳም ቢሆን። መስኮቶቹን እኔ ወሰድኳቸው። ረቡዕ ማታ ደግሞ ከልጆቹ ጋር የአበባ ገበያ ሄድን። ታዋቂው ዩዌሹ በሚባለው የከተማው ክፍል፣ ሺሁ ጎዳና ላይ የሚተከለው ነው፤ እኛ ግን የሰፈራችን በቅቶናል። ትንንሽ ብርቱካን መሳይ ፍሬ ያንዠረገጉ ዛፎች በቅርጫት፣ የኮክ አበባ ቅርንጫፍ፣ ናርሲስ በውሃ ሳህን። ሰው ለሰው ተያይዞ ነው የሚሄደው። ገበያው በዋዜማው እኩለ ሌሊት ስለሚነሳ፣ ወደ መጨረሻው ዋጋው ይወርዳል። የመጨረሻውን ሰዓት የሚጠብቁ ብዙ ናቸው። እኔም አንድ የኮክ ቅርንጫፍ ገዝቼ ተሸክሜ መጣሁ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ወጥ ቤት ገባን። አንዱን ምድጃ ለእኔ ተዉልኝ። ከአዲስ አበባ ያመጣሁት ክክ ነበረኝ፤ በርበሬው ስለሚከብዳቸው አልጫ ሠራሁ። ጎመኑን ጋይላን በሚሉት በእነሱ ጎመን ተካሁት። ግንዱ ወፈር ይላል፤ በነጭ ሽንኩርትና በዝንጅብል ግን ደስ የሚል ጣዕም ሰጠ። አዪ በበኩላቸው ዶሮውን ሙሉውን ቀቀሉት። በጓንዡ «ያለ ዶሮ ድግስ የለም» ይባላል፤ ያንን ስሰማ እናቴ የተናገረች ነው የመሰለኝ። ዓሣው ከነራሱ ከነጅራቱ በእንፋሎት በሰለ። እሱ ሁሉም አይበላም፤ ለሚመጣው ዓመት ትንሽ ይተርፋል።

ከመብላታችን በፊት አዪ ምግቡን በአያቶቻቸው ፎቶ ፊት አቅርበው ዕጣን አጨሱ። ቤተሰቡ ተራ በተራ ሰገደ። እኔ ከኋላ ቆሜ ዝም ብዬ ጠበቅኩ። አልሰገድኩም፤ ማንም አልጠየቀኝም። ስለዚህም ቀድመን ተነጋግረን ነበር። አክብሮ መቆም በቂ መሆኑን የነገሩኝ እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ብዙ ወጣቶች እዚህ ላይ ይጨነቃሉ። በእኔ እምነት፣ የራስን አጥብቆ ይዞ የሰውን ማክበር ይቻላል።

እራቱ ላይ የእኔ ሳህኖች ከሌሎቹ እኩል መሃል ተቀመጡ። አልጫውን ሁሉም ቀመሱት። ለብቻዬ የተለየሁ ሆኜ አልተሰማኝም፤ ግማሹን ምግብ ስሠራ ውዬ እንዴት ይሰማኛል?

ያንን ምሽት ሳነሳ የማላልፈው አንድ ነገር አለ። ከእራት በኋላ በመላው አገሪቱ የሚታየው የዋዜማ የቴሌቪዥን ዝግጅት ተከፈተ። በዚያ ዓመት ከሞምባሳ ናይሮቢ ባቡር ጋር የተያያዘ አጭር ድራማ ነበረበት። አንዲት ቻይናዊት ተዋናይት ፊቷን ጥቁር ተቀብታ፣ መቀመጫዋን አግዝፋ፣ ፍራፍሬ በራሷ ተሸክማ አፍሪካዊት እናት ሆና ወጣች። የዝንጀሮ ልብስ የለበሰ ሰውም አብሯት ነበር። አመመኝ። ለአዪ ልጅ ይህ እኛን የሚያዋርድ መሆኑን ነገርኳት፤ እሷም ለእናቷ አስረዳች። አዪ «አፍሪካዊት ተዋናይ ጠፍታ ነው?» አሉ። ልክ ነበሩ። በኋላ ብዙ ቻይናውያን ራሳቸው ድራማውን ኢንተርኔት ላይ ሲነቅፉት አነበብኩ። በዓል ነውና ልለፈው ብዬ ዝም ባለማለቴ ደስ ይለኛል። ወራት አብረን ስለኖርን ነው መናገር የቻልኩት፤ ለማያውቁኝ ሰዎች እንደዚያ መናገር ይከብደኝ ነበር።

በማግስቱ ያልጠበቅኩት ስጦታ መጣ። በዚያ አካባቢ ብዙ ቤተሰብ የአዲሱን ዓመት የመጀመሪያ ቀን ያለ ሥጋ ነው የሚጀምረው። አዪ እንጉዳይ፣ የደረቀ የአኩሪ አተር ቆዳ፣ እንደ መስታወት የሚያሳይ ቀጭን ፓስታና ቶፉ አንድ ላይ ቀቀሉ። ሽንኩርት የለበትም፤ ጣዕሙ ከእንጉዳዩ ነው። ቤቱ ሁሉ ጾመኛ ሆነ ማለት ነው። በዓሉ በጾም ቀን ዋለ ብዬ ሳምንታት ስጨነቅ፣ የእነሱም ዋናው ቀን ጾም ቢጤ ሆኖ ተገኘ። ልቤ ተነካ።

ቀዩ ፖስታም የዚያን ቀን ነው። ላይሲ ይሉታል። ያገቡ ሰዎች ላላገቡ ይሰጣሉ፤ ያላገባ ሰው ዕድሜው ምንም ቢሆን ይቀበላል። በሁለት እጅ ይቀበሉታል፤ በሰጪው ፊት አይከፍቱትም። በጓንዡ አካባቢ ገንዘቡ ትንሽ ነው፤ 5፣ 10 ወይም 20 ዩዋን። ብሩ ግን አዲስ መሆን አለበት፤ ለዚህ ብለው ባንክ ይሰለፋሉ። የሕንፃው ዘበኛና የጽዳት ሠራተኛዋም ይሰጣቸዋል። እኔ ስላላገባሁ ተቀባይ ነበርኩ። ወጣቶቹ ዊቻት በሚባለው የስልክ መተግበሪያም ይላላካሉ፤ ወረቀቱ ግን ሌላ ደስታ አለው። ሰው ቤት ስትሄዱ መንደሪን በጥንድ ያዙ፤ ስትወጡ ከፊሉን መልሰው ይሰጧችኋል፤ እንቢ አትበሉ። ሰዓት ግን በስጦታ አይሰጥም፤ ሞትን ያስታውሳቸዋል። በሦስተኛው ቀን ሰው ቤት አይኬድም፤ ጠብ ያመጣል ይባላል። እኔም ክፍሌ ተቀምጬ አጠናሁ።

ነጋዴ ከሆናችሁ ደግሞ ይህን ያዙ። ጓንዡ ውስጥ አፍሪካውያን ነጋዴዎች በሚበዙበት ሻዎቤ አካባቢ የሚሠሩ ወገኖቻችን በደንብ ያውቁታል። የበዓሉ ጉዞ ወቅት 40 ቀን ነው፤ ሠራተኛው ወደ አገሩ ይገባል፤ ፋብሪካው ለሳምንታት ይዘጋል። ዕቃ የሚፈልግ ሰው ቀድሞ ይዘዝ።

በዓሉ የሚያበቃው በ15ኛው ቀን፣ በፋኖስ በዓል ነው። በዚያ ዓመት የካቲት 23 ዋለ። ልጆቹ ፋኖስ ይዘው ሲወጡ «ዛሬ በእኛም አገር ትልቅ ቀን ነው» ብዬ የአድዋን ታሪክ ነገርኳቸው። ትንሹ ልጅ ስለ ምኒልክ ፈረስ ብዙ ጠየቀኝ። የዚያን ቀን የሚበላው የሩዝ ድብልብል ውስጡ ጥቁር ሰሊጥ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን የአሳማ ሞራ ይገባበታል። አዪ ሳልጠይቃቸው የእኔን ያለ ሞራ ሠርተው ለብቻው አስቀመጡልኝ።

መጋቢት 30 ፋሲካ ሆነና ተራው የእኔ ደረሰ። እንጀራውን ሻዎቤ ካለ የሐበሻ ምግብ ቤት ገዛሁ። አዪን ለእሑድ ምሳ ነበር የጠራኋቸው፤ እሳቸው ግን ቅዳሜ ጠዋት ቢላቸውን ይዘው መጡ። የተከመረውን ሽንኩርት አይተው «ይህ ሁሉ ለአንድ ዶሮ?» አሉና ወንበር ስበው መክተፍ ጀመሩ። ዶሮው ሲበለት ቆመው አዩ፤ ብልቶቹን እየቆጠሩ የእያንዳንዱን ስም ጠየቁኝ። እሑድ ልጆቹ ወጡ ስላቃጠላቸው ሥጋውን ሙቅ ውሃ ውስጥ እየነከሩ በሉ። እንቁላሉን ግን አንድም አላስተረፉም።